«ሞልቷል» ከማለታችን በፊት፦ ስለ ሴፕቲክ ታንክ አያያዝና ማስመጠጥ ጥያቄና መልስ

ባለፈው የእድራችን ስብሰባ ላይ ስለ ሴፕቲክ ታንክ አያያዝ ጥቂት እንድናገር ተጠይቄ ነበር። ከስብሰባው በኋላ በቃልም በወረቀትም ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ፣ የሚደጋገሙትን ሰብስቤ ከነመልሳቸው ጽፌአለሁ። ሥራዬ የፍሳሽ መስመርና ታንክ መሥራትና መጠገን ሲሆን፣ አብዛኛው የሥራ ዘመኔ ያለፈው በአራዳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ግቢዎች ውስጥ ነው።

ጥያቄ (ከአፍንጮ በር)፦ ጋሼ፣ የግቢያችንን ታንክ ካስመጠጥን ገና ሦስት ወራችን ነው። ትናንት ክዳኑን አንሥተን ብናይ እንደገና ሞልቷል። መጣጮቹ አታለሉን ማለት ነው?

መልስ፦ ላያታልሏችሁ ይችላሉ። በትክክል የሚሠራ ሴፕቲክ ታንክ ሁልጊዜ ሙሉ ነው። እንደ ውሃ ሮቶ የሚያጠራቅም ዕቃ ሳይሆን፣ በአንድ በኩል የገባበትን ያህል በሌላው በኩል ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ የሚያሳልፍ ማረፊያ ነው። አሥር ሰው በሚኖርበት ግቢ እያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ቢያፈስ እንኳ፣ 6 ሜትር ኩብ የሚይዝ ታንክ በ12 ቀን ውስጥ ተመልሶ ይሞላል። ለመጣጭ መኪና የምትከፍሉት ከሥር የረጋውን ዝቃጭና ከላይ የተንሳፈፈውን የቅባት ሽፋን እንዲያወጣላችሁ ነው፤ መካከል ላይ ያለው ውሃ በራሱ መንገድ የሚሄድ ነው።

መመልከት ያለባችሁ የውሃውን ከፍታ ከመውጫው ቧንቧ ጋር እያስተያያችሁ ነው። ውሃው ከመውጫው ቧንቧ የታችኛው ከንፈር ጋር እኩል ከቆመ ታንኩ ጤነኛ ነው። ቧንቧውን ከዋጠው ግን ጥፋቱ ከታንኩ ወዲያ፣ በማስረጊያው ጉድጓድ ወይም ወደዚያ በሚወስደው መስመር ላይ ነው። ያን ጊዜ ደግማችሁ ብታስመጥጡ የምትገዙት የሁለት ሳምንት እፎይታ ብቻ ይሆናል።

ጥያቄ (ከዚያው ግቢ)፦ ታዲያ የማስመጠጫው ጊዜ መድረሱን በምን እናውቃለን?

መልስ፦ በመለካት ነው፤ መለኪያውም ከአንድ አጣናና ከአንድ አሮጌ ነጭ ፎጣ አይበልጥም። ቀጥ ያለ፣ ከታንኩ ጥልቀት የሚረዝም አጣና ፈልጉና የታችኛውን አንድ ሜትር ያህል በፎጣው ጠቅልላችሁ በሲባጎ አጥብቃችሁ እሰሩት። በመውጫው በኩል ባለው ክዳን ገብቶ ወለሉን እስኪነካ ቀስ አድርጋችሁ አውርዱትና፣ ጥቂት ደቂቃ ካቆያችሁት በኋላ ሳታወዛውዙ ቀጥ አድርጋችሁ አውጡት። ፎጣው ላይ ጥቁር ብናኝ የተጣበቀበት ከፍታ የዝቃጩ ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ርጥብ ቢሆንም ነጣ ብሎ ይታያል።

በቅርቡ ከአቡነ ጴጥሮስ አደባባይ ብዙም በማይርቅ፣ አራት አባወራ በሚኖርበት ግቢ ውስጥ እንዲህ አድርገን ለካን። ነዋሪዎቹ ሽታ ስላስቸገራቸው ገንዘብ አዋጥተው መኪና ሊጠሩ ተዘጋጅተው ነበር። አጣናው ሲወጣ ጥቁሩ ከጫፉ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ የታንኩ ጥልቀት ግን አንድ ሜትር ተኩል ነው። ሽታውን ያመጣው የሻወሩ ሲፎን (ውሃ ቋጥሮ ጋዝ እንዳያልፍ የሚከለክለው ጠማማ ቧንቧ) ውሃው ደርቆ ጋዙን ወደ ቤት በማሳለፉ ነበር፤ አንድ ጆግ ውሃ አፍስሰንበት ተለያየን።

ልኩ እንዲህ ነው፦ የዝቃጩ የላይኛው ገጽ ከመውጫው «ቲ» (በመውጫው ላይ የሚገጠመው የT ቅርጽ ያለው ቧንቧ) የታችኛው አፍ 30 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ከደረሰ፣ ወይም የቅባቱ ሽፋን የታችኛው ገጽ ከዚያው አፍ 15 ሴንቲ ሜትር እስኪቀረው ከወረደ መኪና ጥሩ። ይህን ሁሉ መያዝ ለከበደው ሰው፣ ዝቃጩና ቅባቱ ተደምረው የጥልቀቱን ሲሶ ሲይዙ ጊዜው ደርሷል ማለት ይበቃዋል።

ጥያቄ (ከስድስት ኪሎ)፦ በየስንት ዓመቱ ማስመጠጥ አለብን? አንዱ በየዓመቱ፣ ሌላው በአሥር ዓመት ይለናል።

መልስ፦ የሚወስነው የሰው ቁጥርና የታንኩ መጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው መመሪያ፣ የሽንት ቤት ፍሳሽ ብቻ ለሚገባበት ታንክ በሰው በዓመት 25 ሊትር፣ የወጥ ቤትና የማጠቢያ ፍሳሽም ለሚገባበት 40 ሊትር ዝቃጭ ይገምታል። በዚህ ሒሳብ አሥር ሰው በዓመት 400 ሊትር ያጠራቅማል፤ የ6 ሜትር ኩብ ታንክ ሲሶ ደግሞ 2,000 ሊትር ነው፤ ስለዚህ አምስት ዓመት ይደርሳል ማለት ነው። ያው ግቢ ሰርቪስ ቤቶቹን አከራይቶ 18 ሰው ካኖረ ግን ሦስት ዓመት አይሞላም። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ ችግሮች የመጡት ታንኩ ለአንድ ቤተሰብ ተሠርቶ ግቢው ሰፈር ከሆነ በኋላ ነው። በተጨማሪም ዝቃጩን የሚያብላሉት ተሕዋስያን ሙቀት ይወዳሉ፤ የአዲስ አበባ ቅዝቃዜ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ከተማ ካለው ይልቅ ሥራቸውን ያዘገየዋል። ስለዚህ ሒሳቡን እንደ መነሻ ያዙትና በዓመት አንድ ጊዜ አጣናውን አውርዱ።

ጥያቄ (ከሠራተኛ ሰፈር)፦ መኪናው ወደ ግቢያችን መግባት ስላልቻለ ከላይ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ቱቦ ዘረጋልን። ፓምፑ ሲያጓራ ቆይቶ ውሃውን ብቻ ሳበና ዝቃጩን ተወው። ሾፌሩም «ከአቅሜ በላይ ነው» ብሎ ሄደ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገሩ ለእኛ ከተማ ልዩ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው። ፓምፑ ዝቃጩን የሚጎትት ይመስለናል እንጂ፣ ሥራው ከቦቴው ውስጥ አየር ማስወጣት ብቻ ነው። ዝቃጩን በቱቦው ሽቅብ የሚገፋው በታንኩ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ነው። ይህ አየር በባሕር ጠለል ላይ ውሃን ቢበዛ 10.3 ሜትር ሽቅብ ሊገፋ ይችላል። ከተማችን 2,350 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ሳስቶ፣ ፓምፑ እንከን የሌለው ቢሆን እንኳ ወሰኑ 7.7 ሜትር ገደማ ነው። በዚህ ላይ ፍጹም ባዶ መፍጠር የሚችል ፓምፕ የለም፤ ዝቃጩ ከውሃ ይከብዳል፤ ቱቦው በረዘመ ቁጥርም ግጭቱ ጉልበት ይበላል። በተግባር የሚቀረው ከተባለው በብዙ ያነሰ ነው። ከፒያሳ ወደ ታች በሚወርዱት ተዳፋት ሰፈሮች፣ ከአስፋልቱ እስከ ታንኩ ወለል ያለው ቁልቁለት ብቻውን ይህን አቅም ሊጨርሰው ይችላል።

ስለዚህ መኪና ስትጠሩ የቱቦውን ርዝመት ብቻ ሳይሆን መኪናው የሚቆምበትና የታንኩ ወለል ያላቸውን የከፍታ ልዩነት ንገሩ። በታችኛው ቅያስ በኩል መቆሚያ ካለ፣ ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም እሱን ምረጡ። የደረቀውን ዝቃጭ ለማላላት፣ ልምድ ያለው ሠራተኛ አስቀድሞ የሳበውን ውሃ በግፊት ወደ ታንኩ ይመልስና ያማስለዋል፤ የቱቦውን አፍም አንዴ ወደ ዝቃጩ፣ አንዴ ወደ አየር ብቅ እያደረገ ያጎርሰዋል። ዳር ቆሞ ለሚያይ ሥራ የፈታ ይመስላል፤ ነገር ግን ወፍራሙ ነገር የሚወጣው በዚህ ዘዴ ነው።

ጥያቄ (ከአንዲት የእድራችን እናት)፦ ልጄ፣ እኛ ከጥንትም ጉድጓዱ እንዲጎድል ጨው ስንጨምር ነው የኖርነው። አሁን ደግሞ በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት አለ ይሉኛል። የቱ ይሻላል?

መልስ፦ እማማ፣ ሁለቱንም ይተዉአቸው። ጨው ዝቃጩን የሚያብላሉትን ተሕዋስያን ይጎዳል እንጂ ጉድጓድ አያጎድልም። እርሾ ባይጎዳም አይጠቅምም። ናፍጣ የሚያፈስሱ ሰዎች አሉ፤ እሱ መሬቱንና የጎረቤትን የጉድጓድ ውሃ ይመርዛል። በጠርሙስ የሚሸጡት ተሕዋስያን ደግሞ ከሰው ሆድ በየቀኑ በነፃ የሚገቡ ናቸው። በረኪናም ቢሆን ለቤት ጽዳት በሚያስፈልገው መጠን ከሆነ ታንኩን አይጎዳም፤ ሙሉ ጀሪካን መድፋት ግን ሌላ ነገር ነው።

ይልቅስ ምን እንደማይገባ ይጠብቁልን። አቦል፣ ቶና፣ በረካው ተጠጥቶ ጀበናው ሲታጠብ አተላው ወደ ሲንክ የሚደፋበት ቤት ብዙ ነው። የቡና አተላ ቶሎ አይበሰብስም፤ ሥር ይዞ ይረጋል። የቅቤና የዘይት ቅባት ቧንቧው ውስጥ ቀዝቅዞ እንደ ሰም ይጋገራል፤ ስለዚህ ድስቱ ከመታጠቡ በፊት በወረቀት ይጠረግ። ጨርቅ፣ የሕፃን ዳይፐር፣ የንጽህና መጠበቂያና እርጥብ ሶፍት ሽንት ቤት ውስጥ አይጣሉ፤ የመጣጩን ቱቦ የሚዘጉት እነዚህ ናቸው።

ጥያቄ (ከካዛንቺስ)፦ ክረምት ሲገባ ታንኩ ስለሚገነፍል በሐምሌ ብናስመጥጠው አይሻልም?

መልስ፦ ግንቦት ይሻላል። በክረምት መሬቱ ውሃ ስለሚጠጣ ማስረጊያው መቀበል ያቆማል፤ ያስመጠጣችሁት ታንክ በቀናት ውስጥ ይሞላል። በተለይ የፕላስቲክ ታንክ የቀበራችሁ፣ ባዶውን ከሆነ የከርሰ ምድር ውሃ ሽቅብ ሊያነሣውና ቧንቧዎቹን ሊሰብራቸው ይችላል። የጣሪያ አሸንዳ ከታንኩ ጋር ያገናኘ ሰው ካለም ዛሬውኑ ይለየው።

ጥያቄ (ከአራት ኪሎ)፦ ከታች ተጋግሮ የቀረውን ዝቃጭ በአካፋ የሚያወጣ የቀን ሠራተኛ አግኝተናል። ታንኩ ባዶ ስለሆነ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ ማንንም እንዳታስገቡ አደራ እላለሁ። ውሃው ቢወጣም ጋዙ አይወጣም። ከዝቃጩ የሚወጣው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ መጀመሪያ እንደ ገማ እንቁላል ይሸታል፤ ከአየሩ በሚሊዮን 100 እጅ ያህል ሲደርስ ግን የማሽተት ስሜትን ስለሚያደነዝዝ፣ የገባው ሰው ሽታው የጠፋ መስሎት ይረጋጋል። ዝቃጩ በአካፋ በተነካ ቁጥር የታመቀው ጋዝ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሰው ሲወድቅ ሊያወጣው ዘሎ የሚገባው ሁለተኛውም ይሞታል፤ በዚህ ሙያ አንድ ሰው ብቻ የሞተበት አደጋ ከምሰማው ይልቅ ሁለትና ሦስት የሞቱበትን እሰማለሁ። በዚያው ጉድጓድ ውስጥ የሚቀጣጠል ሚቴንም ስላለ ክዳን ከፍቶ ክብሪት መጫር ወይም ሲጋራ ማጨስ አይገባም። የተጋገረውን ውሃ ጨምራችሁ ከላይ በረጅም እንጨት አማስሉትና መኪናው ይምጠጠው፤ ጥቂት ቢቀር ጉዳት የለውም።

ጥያቄ (ከጎላ ሚካኤል)፦ የወጣው ፍሳሽ የት እንደሚደፋ መጠየቅ የእኛ ፈንታ ነው?

መልስ፦ ነው። የሚራገፈው ቃሊቲና ኮተቤ ባሉት የፍሳሽ ማጣሪያ ጣቢያዎች መሆን አለበት፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ብክለት መልቀቅን ይከለክላል። አንድ ጊዜ ከእኔ ደንበኛ ግቢ የወጣ ቦቴ በሌሊት ወንዝ ዳር ሲያራግፍ ደርሼበት አውቃለሁ፤ ዋጋው ከሌሎቹ ረከስ ያለው ለምን እንደነበረ ያን ጊዜ ገባኝ። የባንተይቀቱም ሆነ የቀበና ወንዝ መጨረሻው የአቃቂ ወንዝ ነው፤ በአቃቂ ውሃ የለማው ጎመንና ሰላጣ ደግሞ ተመልሶ ወደ ገበታችን ይመጣል። ስለዚህ የታርጋ ቁጥሩን መዝግቡ፤ ያራገፈበትን ደረሰኝ ካላሳየም ቀሪውን ክፍያ አዘግዩ።

ጥያቄ (ከቸርችል ጎዳና፣ በአስጎብኚነት ከሚሠራ ወጣት)፦ መኝታና ሽንት ቤት ያለው የጉብኝት መኪና ገዝተናል። ታንኮቹን በራሳችን ግቢ ሴፕቲክ ታንክ ላይ ማራገፍ እንችላለን?

መልስ፦ ትችላላችሁ፤ ሆኖም መኪናው የሚጠቀምበትን የሽታ ማጥፊያ መድኃኒት አስቀድማችሁ አንብቡ። ፎርማልዴሃይድ ያለበት ከሆነ በሴፕቲክ ታንኩ ውስጥ ያሉትን ተሕዋስያን ይገድላል። እንዲህ ያለ መኪና ሁለት ታንክ አለው፤ አንዱ የሽንት ቤቱን፣ ሌላው የሻወሩንና የሲንኩን ውሃ ይይዛል። የሽንት ቤቱን ቫልቭ ከፍታችሁ መንዳት ትልቅ ስሕተት ነው፤ ፈሳሹ እየወጣ ደረቁ ብቻ ከቫልቩ ሥር እንደ ጉብታ ይከመራል። ሁለት ሦስተኛው እስኪሞላ ዘግታችሁ ቆዩ፤ ከዚያ መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ የሻወሩን ልቀቁ፤ ሁለተኛው ውሃ ቱቦውን አጥቦላችሁ ይወጣል። ካራገፋችሁ በኋላ ጥቂት ሊትር ንጹሕ ውሃ ጨምሩበት፤ በባዶና በደረቀ ታንክ ላይ የወደቀ ነገር ይጣበቃል፤ የመጠን ጠቋሚው መብራት የሚዋሸውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥያቄ (ከአምባሳደር አካባቢ)፦ ግቢያችንን ሴራሚክ ልናነጥፍ ነው። የታንኩ ክዳን ውበት ስለሚያበላሽ ከሴራሚኩ ሥር ብናደርገው ምን ይለዋል?

መልስ፦ አይሆንም። ይህን ስሕተት በወጣትነቴ በራሴ ግቢ ሠርቼዋለሁ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ክዳኑ የትኛው ሥር እንደነበረ ጠፍቶኝ አሥራ አንድ ሴራሚክ ሰብሬአለሁ። ክዳኖቹን፣ የመግቢያውንም የመውጫውንም፣ ከወለሉ ጋር እኩል አድርጋችሁ በብረት ፍሬም ሥሩና ልጅ የማያነሣው ቁልፍ አድርጉላቸው። የሴራሚኩን ቁራጭ በፍሬሙ ውስጥ ማጣበቅ ስለሚቻል ግቢው ውበቱን አያጣም።