«የሙከራ አይጥ ሊያደርጓት ነው» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ባለፈው በካንሰር ጥናት ስለመሳተፍ አንድ መስመር ጣል ባደርግ ጥያቄው ጎረፈ። የቻልኩትን እነሆ። ሥራዬ እዚህ ዋሽንግተን አካባቢ በሐኪምና በታካሚ መካከል ማስተርጎም ነው፤ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ይህን መድኃኒት ጀምሩ፣ ያንን አቁሙ አልልም።

«እናቴ የጡት ካንሰር አለባት። ሐኪሟ በአንድ አዲስ መድኃኒት ጥናት እንድትሳተፍ ጠየቃት። ወንድሜ ‹የሙከራ አይጥ ሊያደርጓት ነው› ብሎ ቤቱን አተራመሰው። እሷ ደግሞ ‹እናንተ ያላችሁትን› ትላለች።» (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የወንድምሽ ፍርሃት ከሜዳ የመጣ አይደለም። አላባማ ውስጥ፣ ተስኪጊ በምትባል ቦታ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1972 ድረስ የመንግሥት ሐኪሞች ቂጥኝ የያዛቸውን በመቶ የሚቆጠሩ ጥቁር ወንዶች «መጥፎ ደም አለባችሁ» እያሉ ሸነገሏቸው። ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሳያክሟቸው በሽታው የሚያደርጋቸውን ቁጭ ብለው ተመለከቱ። ያ ጉድ ከወጣ በኋላ ነው በ1974 ሕግ የወጣው። ዛሬ ጥናት ከመጀመሩ በፊት አንድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይመረምረዋል። እናትሽም ከፈረመች በኋላ እንኳ በፈለገችው ቀን «በቃኝ» ማለት ትችላለች። በዚህ ምክንያት መደበኛ ሕክምናዋን አይከለክሏትም።

እኔን ያሳሰበኝ «እናንተ ያላችሁትን» የሚለው ነው። አንድ ቀን ለአንዲት እናት ሃያ ምናምን ገጽ የፈቃደኝነት ቅጽ አስተረጎምኩ። ሐኪሙ ያነባል፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሳቸው «እሺ፣ እሺ» ይላሉ። ሲያልቅ ነርሷ «እስቲ ምን ሊደረግልዎት እንደሆነ በራስዎ አባባል ይንገሩኝ» አለቻቸው። እሳቸውም ወደ እኔ ዞር ብለው «ልጄ፣ አንቺ ንገሪያት እንጂ!» አሉ። ሁላችንም ሳቅን። ነርሷ አልሳቀችም። እስክሪብቶውን ከጠረጴዛው አንስታ ኪሷ ከተተችና ሌላ ቀን ቀጠረቻቸው። ያቺን ነርስ እስከ ዛሬ አከብራታለሁ።

ስለዚህ አስተርጓሚ ጠይቁ፤ እናንተ ልጆቿ አታስተርጉሙ። እኛ ልጆች ክፉውን ቃል እያለሳለስን እናልፈዋለን። እሷ በሚገባት ቋንቋ ማስረዳት ደግሞ የሕግ ግዴታቸው ነው። ቅጹን ወደ ቤት ይዛ ትሂድ። «ዛሬውኑ ፈርሚ» የሚል ካለ እኔ በበኩሌ አልወደውም። ጥናቱ ስንተኛ ምዕራፍ ላይ እንደሆነም ትጠይቅ። በመጀመሪያው ምዕራፍ የመድኃኒቱ መጠንና ጉዳት በጥቂት ሰዎች ላይ ይጠናል። በሦስተኛው አዲሱ መድኃኒት አሁን ከሚሰጠው ይሻል እንደሆነ በብዙ ሰው ይታያል። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሁለቱም ግን ለእሷ ላይጠቅማት ይችላል። ይህንን ሳትሰማ እንዳትፈርም።

«ለግማሹ ሰው መድኃኒት ሳይሆን ውሃ ነው የሚሰጠው ይባላል። እውነት ነው?»

በካንሰር ሕክምና ጥናት የሚሠራ መድኃኒት እያለ በሽተኛውን በባዶ ክኒን መተው የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ አንዱ ቡድን የታወቀውን ሕክምና ያገኛል፤ ሌላው አዲሱን፣ ወይም አዲሱን ከታወቀው ጋር። ማን የቱ እንደሚደርሰው በዕጣ ነው። ይህን ለማስረዳት ምላሴ ሲተሳሰር «እንደ ዕቁብ» እላለሁ፤ ወዲያው ይገባቸዋል። ዕጣውን የሚያወጣው ኮምፒዩተር ስለሆነ ሐኪሙ ለዘመዱ ማዳላት አይችልም። ባዶ መድኃኒት ካለበትም ቅጹ ላይ መጻፍ አለበት።

ጎረቤት ኬንያን ተመልከቱ። ከ15 እስከ 20 ዓመት የሆኑ 2,275 ወጣት ሴቶች የማኅፀን በር ካንሰር በሚያመጣው ቫይረስ ክትባት ጥናት ተሳተፉ። የማነጻጸሪያው ቡድን የወሰደው የማጅራት ገትር ክትባት ነበር፤ ማንም ባዶ እጁን አልሄደም። አንድ ጊዜ መከተብ እንደሚበቃ ካሳዩት ጥናቶች አንዱ ይህ ነው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ክትባቱን ስትጀምር ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው፤ ዛሬ አንድ ጊዜ ነው።

«ለጥናት ተመዝግቤ ነጭ የደም ሴልህ አነስተኛ ነው ብለው መለሱኝ። ሌላ በሽታ አለብኝ ማለት ነው?» (ከእስራኤል)

ላይሆን ይችላል። ብዙ ጥናቶች ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ ሴል በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ1,500 በታች ከሆነ አያስገቡም። ከእኛ መካከል ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ቁጥሩ ከዚያ የሚያንስ ብዙ ሰው አለ። አንተ ባለህበት አገር በቤተ እስራኤላውያን ላይ በደንብ ተጠንቷል። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ «ዳፊ» በሚባለው የደም ዓይነት ላይ ያለ የዘር ልዩነት ነው። ቁጥሩ ቢያንስም ሰውዬው ኢንፌክሽን የመከላከል አቅሙ ደህና ነው። መለኪያው ሲወጣ እኛን ማን አየን! ሐኪምህን «የዳፊ ምርመራ ይታዘዝልኝ» በለው፤ የቆዩ የደም ውጤቶችህንም ይዘህ ሂድ። ካልተቀበሉህ ግን ለምን እንደሆነ ቢያንስ ታውቃለህ።

በነገራችን ላይ፣ እኛም በጥናት ውስጥ መኖራችን ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ አንድ ጥናት ከኢትዮጵያውያን ተሳታፊዎቹ 29 በመቶ ያህሉ መድኃኒት የሚፈጭ የአንድ የጉበት ኢንዛይም ጂን ተደጋግሞ እንዳለባቸው አሳየ። ለሕመም የሚሰጠውን ኮዴይን ወደ ሞርፊን የሚቀይረው ይኸው ኢንዛይም ነው። የጡት ካንሰሩ ታሞክሲፈንም በእሱ በኩል ያልፋል። ይህን የስዊድን ሰው ደም አይነግረንም።

«ሂሳቡ ማን ላይ ነው?» (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የሚጠናውን መድኃኒት ብዙ ጊዜ የሚችለው ጥናቱ ነው። ለመደበኛው ምርመራና ሕክምና እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ አብዛኞቹ የግል ኢንሹራንሶች፣ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) መሸፈን አለባቸው። ቅርብሽ ያለው የቤተዝዳ የፌዴራል የምርምር ሆስፒታል ለተሳታፊዎቹ ሕክምና ሂሳብ አይጠይቅም። ኪስ የሚጎዳው ቤንዚን፣ ፓርኪንግና ከሥራ መቅረት ነው። እሱንም አታፍሪ፣ ጠይቂ፤ የሚከፍሉ አሉ።

«ጥቁር አዝሙድ በማር እወስዳለሁ፣ እጾማለሁም። ብነግራቸው ያስወጡኛል ብዬ ዝም አልኩ።»

ኧረ ንገሪያቸው! አንዳንድ ቅጠላ ቅጠልና ቅመም የመድኃኒቱን ጉልበት ሊጨምር ወይም ሊቀንስ ይችላል። ደምሽ ላይ ያልተጠበቀ ነገር ሲያዩ ጥፋቱን በመድኃኒቱ ያሳብባሉ። ጾሙም እንደዚያው። ካፔሲታቢን የሚባለው የኪሞ ክኒን የሚዋጠው ከምግብ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋቱን ክኒን በምን ትውጠዋለች? ሰዓቱን አብረው ያስተካክሉልሻል፤ ለንስሐ አባትሽም ንገሪያቸው። ጠበሉን ትጠጪው እንደሆነም አትደብቂ፣ በተለይ ኪሞ ላይ ሆነሽ ነጭ ሴልሽ ሲወርድ ያልተጣራ ውሃ ያሰጋል።

«ጤነኛ ነኝ። እኔስ መሳተፍ እችላለሁ?» (ከዳላስ)

እንዴታ! የታመመን ደም ለማነጻጸር ያልታመመ ደም ያስፈልጋል። እዚህ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2018 ለሁሉም የተከፈተው «ኦል ኦቭ አስ» የሚሊዮን ሰው መረጃ ለመሰብሰብ የተነሳ የመንግሥት ጥናት ነው። መጠይቅ ትሞላለህ፣ የሕክምና መዝገብህን እንዲያዩ ትፈቅዳለህ፣ ደም ወይም ምራቅ ትሰጣለህ። ከመፈረምህ በፊት ናሙናው የት እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚያየው፣ ሐሳብህን ብትቀይር ምን እንደሚሆን ጠይቅ። እ.ኤ.አ. በ1951 ባልቲሞር ውስጥ ሄንሪታ ላክስ ከምትባል ጥቁር ታካሚ ሳትጠየቅ የተወሰዱት የካንሰር ሴሎች ዛሬም በዓለም ላቦራቶሪዎች ይራባሉ። እሷን «ትፈቅጃለሽ ወይ?» ብሎ የጠየቃት አልነበረም።