በእጅህ ምን ይዘሃል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት የ23 ዓመት ልጅ ጻፈችልኝ። አንድ የስካውት ቡድን ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ ልጆችን የሚያግዝ ትልቅ ሰው አጥቶ «እባክሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ነይልን» ብሏታል። እሷ ድንኳን ተክላ አታውቅም። ገመድ ሲባል የምታስረው የጫማዋን ብቻ ነው። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ምን ልማር?» ትላለች።

መልስ መጻፍ ጀመርኩ። ሲጎተት የማይጠብቅ ቀለበት እንዴት እንደሚቋጠር፣ ገመድ ከእንጨት ጋር እንዴት እንደሚታሰር፣ ካርታ እንዴት እንደሚታጠፍ። አንድ ገጽ ሞላሁ። ከዚያ ኮምፓስ የሚለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ትንሽ ተቀመጥኩና የጻፍኩትን በሙሉ አጠፋሁት። ቋጠሮውን ልጆቹ ያስተምሯታል፤ ደስ እያላቸው ነው የሚያስተምሯት። እኔ ያለብኝ ዕዳ ሌላ ነው። እሷን የመሰላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

ሥራዬ ቅየሳ ነበር። መንገድ ከመሠራቱ በፊት መሬቱን የሚለካው ሰው ማለት ነው። ካርታ ሳነብ አፌን እንደፈታሁበት ቋንቋ ነው። ስካውቶቹም የጠሩኝ ካርታ የሚያስተምር ሰው ፈልገው ነው፤ ያኔ 35 ዓመቴ ነበር። በሁለተኛው ዓመት የመሪዎች ስልጠና ወሰድኩና ሁለቷን የእንጨት ዶቃ አንገቴ ላይ አሰርኩ። ዶቃዎቹ እ.ኤ.አ. በ1919 እንግሊዝ አገር ጊልዌል ፓርክ ከተጀመረው ስልጠና ጋር የመጡ ናቸው። ትንንሽ ናቸው፤ አንገት ላይ ግን ከባድ ናቸው። ሰው ሲያስራቸው ትንሽ ይነፋል። እኔ ተነፍቼ ነበር።

በስልጠናው ደጋግመው የነገሩን አንድ ነገር ነው፤ ፓትሮሉን የሚመራው ልጁ ነው። ፓትሮል ማለት ስድስት ወይም ስምንት ልጆች ያሉበት ትንሽ ቡድን ነው። የስካውት መሥራቹ ባደን ፓውል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ 20 ያህል ልጆች ይዞ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያደርግ በአራት ፓትሮል ከፈላቸው። የየፓትሮሉ መሪም ከልጆቹ አንዱ ነበር። ሰውየው ዕድሜውን በውትድርና ያሳለፈ መኮንን ነው፤ ማዘዝ ሥራው ነበር። እሱ እንኳ ለልጆቹ ተወላቸው። ይህን ሁሉ ደብተሬ ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ገልብጬዋለሁ። ደብተሩ ዛሬም አለ።

ስልጠናው ካለቀ ወር እንኳ አልሞላም። የእግር ጉዞ ወጣን፤ አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ። የፓትሮሉ መሪ የ14 ዓመት ልጅ ነው። ቀጭን ነው፣ ብዙ አያወራም። አንድ ኮረብታ ሥር ስንደርስ ፓትሮሉን አቆመ። ካርታውን መሬት ላይ ዘረጋና ተንበረከከ። ኮምፓሱን ካርታው ላይ አስቀመጠ።

አንገቱ ላይ በገመድ ያንጠለጠላት የብረት ሰንጢ ነበረችው። ጎንበስ ሲል ሰንጢዋ ወርዳ ከኮምፓሱ ጎን ትወዛወዛለች። ወደ ግራ ስትሄድ መርፌው ይከተላታል። ወደ ቀኝ ስትመለስ መርፌውም ይመለሳል። ልጁ መርፌው እስኪረጋ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ሰንጢዋ ጸጥ ስትል መርፌውም ጸጥ አለ። ሁለት ጊዜ አየው። ተነሳና «በዚህ ነው» አለ።

በዚያ አልነበረም። ብረት መርፌ ይስባል፤ ሃያ ዲግሪ ያህል አስቶታል። እኛ ቀያሾች አንድ ዲግሪ ስህተት በኪሎ ሜትር 17 ሜትር ገደማ እንደሚያስት በቃላችን እናውቃለን። ወዲያው አሰላሁት። ከሁለት ኪሎ ሜትር በኋላ ከመንገዳችን ወደ 700 ሜትር እንርቅ ነበር። ተሳስተን ብንመለስ የሚባክነው ቢበዛ አርባ ደቂቃ ነው። ገደል የለም። ወንዝ የለም። ለመምሸትም ገና ነው። አርባ ደቂቃ ብቻ።

«ኧረ ተው! አምጣው እስቲ» ብዬ ካርታውን ከእጁ ወሰድኩት። ወሰድኩት ስል ራሴን እያባበልኩ ነው። ነጠቅኩት። ያውም ሰባት ልጆች እያዩ። ይባስ ብዬ «ብረት ደቅኖ ኮምፓስ የሚያነብ ሰው ዛሬ አየሁ» አልኩ። ልጆቹ ሳቁ። እሱም አብሯቸው ሊስቅ ሞከረ። ሰንጢዋን ከአንገቱ አወለቀና ኪሱ ከተታት። ከዚያ ሄዶ ከሰልፉ መጨረሻ ቆመ።

ከሌሎቹ ፓትሮሎች ሁሉ ቀድመን ደረስን። ማታ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? ያቺን ስህተት እኔም ሠርቻታለሁ። በ21 ዓመቴ፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን፣ በቀኝ እጄ ኮምፓስ በግራዬ መዶሻ ይዤ አቅጣጫ ሳነብ አለቃዬ መጣ። ሽማግሌ ነው። ሲያስነጥሰው ሁልጊዜ ሦስት ጊዜ ነው፤ አራተኛ የለም። ገንዘብ ላይ እጁ አይፈታም፣ አንድ እርሳስ ለሦስት ቆርጦ ያካፍለን ነበር። ቆሞ አየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ «በእጅህ ምን ይዘሃል?» አለኝ። ይኸው ነው። ዞር ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ። እኔ እጄን አየሁ። መዶሻውን ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩና እንደገና አነበብኩ። አብረውን የነበሩት ሰዎች ምን እንደሆነ እንኳ አላወቁም።

ያቺን ጥያቄ 16 ዓመት ሙሉ ይዣት ዞሬያለሁ። ኮረብታው ሥር ልጁ ሲንበረከክ አፌ ላይ ነበረች። አልሰጠሁትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ልጁ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። የመሪነት ምልክቱን ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «ፈተና ስላለብኝ ነው ጋሼ» አለ። እውነት ፈተና ነበረበት፤ ሁሉም ልጆች ነበረባቸው። ስለተመቸኝ አመንኩት። እንደ ስካውት ወግ በግራ እጃችን ተጨባበጥን። ሁለት ወር ያህል ከኋላ እየተሰለፈ መጣ፣ ከዚያ ቀረ። ዓመት ሳይሞላው መንገድ ላይ አገኘሁት። ቁመቱ መዝዟል። ግራ እጄን ዘረጋሁለት። እሱ ቀኙን ዘረጋ። እጃችን መሃል ላይ ተሳሳተ። «ይቅርታ ጋሼ፣ ረስቼው ነው» ብሎ ሳቀ። ትንሽ አወራን። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከዚያ ፓትሮል ትንሹ የነበረውን አገኘሁት። አሁን የልጆች አባት ነው። የድሮውን እያነሳን ስንስቅ፣ «ከዚያ በኋላ እኮ ማናችንም መሪ መሆን አንፈልግም ነበር» አለኝ። «ካርታው መነጠቁ አይቀርም እንባባል ነበር።» እንደ ቀልድ ነው የነገረኝ። እኔ ያን ዓመት መሪ የሚሆን ልጅ ሲጠፋ «የዘንድሮ ልጆች ሰነፉ» ብዬ ሪፖርት ጽፌያለሁ።

ስለ ልጆች ካነሳሁ አይቀር ስለ እናንተም ልናገር። ገና ሳትጀምሩ «ሰርተፍኬት አለው ወይ?» ትላላችሁ። አንድ ቋጠሮ ተቋጥሮ አምስት ጊዜ ይቀረጻል። እሳቱ ሳይነድ ፎቶው ይለቀቃል። ይህ አይገባኝም፤ ምናልባት እርጅና ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ትጠይቃላችሁ። እኔ በ23 ዓመቴ «አላውቅም፣ ምን ልማር?» ብዬ ለማንም አልጽፍም ነበር። ሳላውቅ እገባበት ነበር።

ወደ ጉዳዩ ልመለስ። ከልጆቹ ኋላ ሂዱ። ካርታ የምታውቁ ከሆነ የበለጠ ወደ ኋላ ቅሩ። ልጅ ሲሳሳት ስታዩ ጠይቁት፤ ግን አጠያየቁን እወቁበት። «እርግጠኛ ነህ?» ጥያቄ አይደለም። ተሳስተሃል ማለት ነው፤ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። «ኮምፓስህ አጠገብ ምን አለ?» ግን ጥያቄ ነው፤ ራሱ አይቶ የሚመልሰው። ከጠየቃችሁ በኋላ ዝም በሉ። ዝምታው ይረዝማል። ይርዘም። ሰዓታችሁን አትዩ፣ አታፏጩ። እጃችሁን ኪሳችሁ ክተቱ። እኔ በመጨረሻዎቹ ዓመታት እንዲያ ነበር የማደርገው፤ ጃኬቴ ሁለት ኪሱም ተቀዷል።

አልነጠቅም ብዬ ግን ሁልጊዜ አልቆምም። አንድ ጊዜ የሞላ ወንዝ ዳር የ15 ዓመት ልጅ «ጥልቅ አይደለም» ብሎ አንድ እግሩን አስገባ። ኮሌታውን ይዤ ወደ ኋላ ወረወርኩት። ጮህኩበት። ምንም ጥያቄ አልጠየቅኩም፣ ጓደኞቹ ሁሉ አዩ፣ አልጸጸትም። ውሃ፣ እሳት፣ ገደል፣ ደም ካለ ፓትሮል ገለመሌ የለም። ልጆች አንዱን ለይተው ሲያሾፉበትም እንደዚያው። ወሰኑ የቱ ጋ ነው ብትሉኝ «ስትደርሱ ታውቁታላችሁ» ልል ነበር። ችግሩ እኔም ኮረብታው ሥር አውቀዋለሁ ብዬ ነበር።

ከልጅ ጋር ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሁሌም ሁለት ትልልቅ ሰዎች ይኑሩ፣ ማታ ማታ ለልጅ በግል መልእክት አትላኩ። ይህን ቡድኑ በመጀመሪያው ቀን ይነግራችኋል። ካልነገራችሁ ቡድኑን ተጠራጠሩት። በሰዓት መገኘት፣ የመጀመሪያ እርዳታ መማር፣ የመሳሰለውን አልደግምላችሁም።

አሁን ድንኳን መትከል ለማታውቀው ልጅ።

አለማወቅሽ አያስፈራሽ። እኔ ከእነሱ ጋር መጀመሪያ ካምፕ ስወጣ ዶቃም አልነበረኝም፣ ድንኳንም አልችልም ነበር። ቀያሽ ሆኜ ስንት ሌሊት ድንኳን ውስጥ አድሬያለሁ፤ የሚተክሉልኝ ግን ሠራተኞቹ ነበሩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ካስማዎቹን ቀጥ አድርጌ መሬት ውስጥ መታኋቸውና ጨረስኩ። ሌሊት ዝናብና ነፋስ መጣ። ድንኳኑ ላዬ ላይ ተኛ። በስንት መከራ ወጣሁ፣ አንድ እግሬ ባዶ።

ሦስት ልጆች ባትሪ ይዘው ቆመዋል። መቼ እንደነቁ አላውቅም። አንዱ በጣም ትንሽ ነው፣ 12 ዓመት ቢሆነው ነው፤ ከገባ ገና ጥቂት ሳምንቱ። ማንም አልሳቀም። ትንሹ ልጅ ካስማውን በባትሪ አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ምንም አላለም። ነቀለው። የላይ ጫፉን ከድንኳኑ ራቅ አድርጎ፣ አዘንብሎ እንደገና መታው። የሚቀጥለውንም እንዲሁ። እኔ ዝናብ ውስጥ እጄን አንጠልጥዬ ቆሜያለሁ። ዞር ብሎ አየኝና ምሰሶውን አምጥቶ አስያዘኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ይቺን ብቻ ይያዙልን» አለ።

ያዝኩ። ውሃው በአንገቴ ይገባል፣ ምሰሶው ይወዛወዛል፣ እኔ ጥብቅ አድርጌ ይዣለሁ። ልጁ የተወሳሰበውን ገመድ ሊቆርጥ ጎንበስ አለ፤ አንገቱ ላይ ካንጠለጠላት ሰንጢ ጋር ሲታገል ባትሪዬን አበራሁለት።