ጥያቄና መልስ፦ በዝግጅታችን ላይ ሰው ቢጎዳ ተጠያቂው ማን ነው?

መላሽ፦ እንደምን አመሻችሁ። ሥራዬ ለሕዝብ ዝግጅቶች የደህንነት እቅድ ማውጣት ነው። በተለይ የሰው ፍሰት ላይ ነው የምሠራው፤ መግቢያ፣ መውጫ፣ መተላለፊያ። ከመጀመራችን በፊት ሁለት ነገር ልበል። ሕግ ከአገር አገር ይለያያል፣ ስለዚህ እኔ የምላችሁ ጠበቃ ማማከርን አይተካም። ሌላው፣ ስትጠይቁ የሰዉን ብዛት፣ ቦታው ክፍት ይሁን ዝግ፣ ሰዉ ይቁም ይቀመጥ ንገሩኝ። ያለዚህ የሚረባ መልስ አልሰጥም።

ጀማሪዋ፦ ጋሼ፣ በቅርቡ ትልቅ ዝግጅት ላዘጋጅ ነው። ምን ምን ማሟላት አለብኝ?

መላሽ፦ ትልቅ ማለት ስንት ሰው ነው? አዳራሽ ነው ሜዳ? ከላይ ያልኩትን አንብቢና ተመለሺ።

የእርዳታ ኮሚቴ፦ እኛ ለገቢ ማሰባሰቢያ ነው የምናዘጋጀው። ደሞዝ የለን፣ ትርፍ የለን፣ ሁላችንም በፈቃደኝነት ነው። ሰው ቢጎዳ እኛም እንከሰሳለን?

መላሽ፦ ልትከሰሱ ትችላላችሁ። ፍርድ ቤት በአብዛኛው የሚጠይቀው ማትረፋችሁን አይደለም። አደጋው አስቀድሞ ሊታሰብ የሚችል ነበር ወይ? አንድ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ጥንቃቄ አድርጋችኋል ወይ? እነዚህን ሁለቱን ነው። የቆማችሁለት ዓላማ ጥሩ መሆኑ የላላውን የመድረክ ብሎን አያጠብቅም። ኮሚቴያችሁ ደግሞ ሕጋዊ ሰውነት ከሌለው፣ ማለትም ራሱን የቻለ ድርጅት ሆኖ ካልተመዘገበ፣ ተጠያቂነቱ በብዙ አገሮች እያንዳንዳችሁ ላይ በግል ሊመጣ ይችላል። ይህን ከዝግጅቱ በፊት ጠበቃ ጠይቁ። እና ለሁላችሁም አሁኑኑ ልጠይቅ፦ ዝግጅቱን የማስቆም ሥልጣን ያለው ሰው ማን ነው? ስሙ ተጽፏል?

ተከራዩ፦ እኔ አዳራሽ ተከራይቻለሁ። ጥበቃው የአንድ ድርጅት ነው፣ ሳውንዱና መብራቱ የሌላ። ሁሉም ውል ፈርመዋል። እኔ ከኃላፊነት ነፃ ነኝ ማለት ነው?

መላሽ፦ አይደለህም። ሥራውን ለሌላ መስጠት ይቻላል፤ ኃላፊነቱ ግን አብሮ ተጠቅልሎ አይሄድም። የመረጥከው ድርጅት ብቁ መሆኑን አጣርተሃል? ሥራውን ተከታትለሃል? ብለው ይጠይቁሃል። እ.ኤ.አ. በ2003 አሜሪካ ሮድ አይላንድ ውስጥ ስቴሽን የሚባል የምሽት ክበብ ተቃጥሎ 100 ሰው ሞተ። መድረክ ላይ የተለኮሰ ርችት ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፎም አያያዘው። ከቤቱ ባለቤቶች አንዱም፣ የባንዱ የጉዞ ሥራ አስኪያጅም ታሰሩ። በፍትሐ ብሔር በኩል ደግሞ ብዙ ወገኖች ካሳ ከፈሉ፤ ድምሩ 176 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ርችቱን የለኮሰው አንድ ሰው ነው። የተጠየቀው ግን ስንቱ እንደሆነ ተመልከት።

ውልህ ላይ ማን ምን እንደሚሠራ በግልጽ ይጻፍ። "ደህንነቱን ጥበቃው ይይዘዋል" የሚል መስመር ምንም አይናገርም። የድንገተኛ መውጫውን ቁልፍ ማን ይይዛል? ሰው ሲሞላ በሩን ማን ይዘጋል? በሬዲዮ ማን ለማን ይናገራል? እንዲህ ነው የሚጻፈው።

ባለሙዚቃው፦ የዘፈን ባለቤትነት መብት ክፍያውስ?

መላሽ፦ የኔ ዘርፍ አይደለም። የሚመለከተውን ጠይቅ።

ጥንቁቁ፦ ቲኬቱ ጀርባ ላይ "ለሚደርሰው ጉዳት አዘጋጁ ኃላፊነት አይወስድም" ብለን ብናትምስ?

መላሽ፦ ብዙ አትመካበት። በብዙ አገር በቸልተኝነት ለደረሰ የሞት ወይም የአካል ጉዳት እንዲህ ያለ ጽሑፍ አይሠራም፣ ወይም በጣም ተገድቦ ነው የሚሠራው። ከወንጀል ተጠያቂነት ደግሞ ጭራሽ አያድንህም።

ጀማሪዋ፦ ተመለስኩ ጋሼ። 1,500 ሰው ነው፣ አዳራሽ ነው፣ ሰዉ ቆሞ ነው። መድረኩ ሳይቆጠር ወለሉ 400 ካሬ ሜትር ነው። የምንጠቀመው በር አንድ ነው፣ 2 ሜትር ስፋት አለው።

መላሽ፦ ጎሽ፣ እንዲህ ነው የሚጠየቀው። ነይ እንሥራው።

መጀመሪያ ወለሉ። 1,500 ለ400 ሲካፈል በካሬ ሜትር ከ4 ሰው ትንሽ ያንሳል። የእንግሊዞቹ የስታዲየም ደህንነት መመሪያ፣ ግሪን ጋይድ የሚሉት፣ ለቆመ ተመልካች የሚያስቀምጠው ጣሪያ በ10 ካሬ ሜትር 47 ሰው ነው። እንግዲህ ወረቀት ላይ ይበቃል። ግን ሰው እንደ ሰድር ተስተካክሎ አይቆምም። ኋላ ባዶ ይሆንና መድረኩ ፊት ይታጨቃል። በካሬ ሜትር 5 ካለፈ መጨነቅ ይጀምራል። 6 እና 7 ሲደርስ ሰዉ የራሱን እግር ማዘዝ ያቅተዋል። ከወዲያ የተነሳ ግፊት እንደ ማዕበል አልፎ ወዲህ ይደርሳል፤ ማንም የገፋ ሳይመስለው ሰው ይወድቃል። ስለዚህ አማካዩን አትመልከቺ፤ በጣም የተጨናነቀውን ቦታ ነው የምትመለከቺው።

አሁን በሩ። ያው መመሪያ በደልዳላ ወለል ላይ በ1 ሜትር ስፋት በደቂቃ ቢበዛ 82 ሰው ይወጣል ብሎ ያሰላል። 2 ሜትር በርሽ 164 ያወጣል። 1,500 ሰው ለማውጣት ከ9 ደቂቃ በላይ ነው። መመሪያው የእሳት ስጋት አነስተኛ ለሆነበት ቦታ እንኳ ከ8 ደቂቃ አያልፍም። ስጋቱ ከፍ ያለ ከሆነ ወደ 2 ደቂቃ ተኩል ይወርዳል። በ2 ደቂቃ ተኩል ያ በር የሚያወጣው 410 ሰው ነው። የቀሩት 1,090 ሰዎች የት ይሄዳሉ?

ይህም በሩ ከተከፈተ ነው። እሳቱ በበሩ በኩል ቢነሳስ? ስታሰዪ ትልቁ በር እንደተዘጋ ቁጠሪውና በቀሩት በሮች ብቻ አስዪ። አንድ በር ብቻ ካለሽ መልሱ ዜሮ ነው። ስቴሽን ውስጥ ሌሎች መውጫዎች ነበሩ፤ ብዙው ሰው ግን የሮጠው ወደገባበት በር ነው፣ እዚያው ተደራርቦ ቀረ። መውጫ መኖሩ አይበቃም። ሰዉ ሲገባ ያየው፣ መብራት ያለበት፣ ያልተቆለፈ፣ ወንበርና የሳውንድ ሳጥን ያልተከመረበት መሆን አለበት። በዝግጅቱ ቀን በሮቹን በእጅሽ ክፈቺያቸው። እያንዳንዳቸውን። ሰው ልከሽ አይደለም፣ ራስሽ።

ባጭሩ በዚህ አዳራሽ በአንድ በር 1,500 ሰው አታስገቢም። ወይ በሮች ይጨመሩ፣ ወይ ሰዉ ይቀነስ፣ ወይ ቦታ ቀይሪ።

ጀማሪዋ፦ ግን ቲኬቱ ተሸጧል እኮ...

መላሽ፦ ገንዘብ ይመለሳል።

ሰልፍ አስከባሪ፦ እኔ በር ላይ ቆሜ ብዙ አይቻለሁ። ሰዉ ራሱ ሥርዓት የለውም። ይጋፋል፣ አጥር ይዘላል። ሁሉን ነገር አዘጋጁ ላይ መለጠፍ ልክ አይመስለኝም።

የኮንሰርት ወዳጅ፦ ወንድሜ፣ ከኋላ የቆመ ሰው ፊት ምን እየሆነ እንደሆነ በምን ያያል? ክፍት ቦታ ያለ ይመስለዋል፣ ይራመዳል፣ አለቀ።

ሰልፍ አስከባሪ፦ ሰክሮ የሚመጣውስ?

የኮንሰርት ወዳጅ፦ የሰከረውን ማን አስገባው? በር ላይ የነበርከው አንተ አይደለህ?

ሰልፍ አስከባሪ፦ ስድብ ውስጥ አንግባ።

ድንኳን ተካይ፦ ሁለታችሁም ተዉት፣ በረንዳው ላይ የተተከለ ድንኳን ግን...

መላሽ፦ ድንኳኑ ይቆይ። ይህን ሳልመልስ አላልፍም። "ሰዉ ተደናግጦ ነው" የሚለው ወሬ በየአደጋው ማግስት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ሼፊልድ ውስጥ፣ ሂልስቦሮ በሚባል የእግር ኳስ ስታዲየም በደረሰው መጨናነቅ የሞቱት 97 ናቸው። ወዲያው ጥፋቱ በደጋፊዎቹ ላይ ተላከከ። እ.ኤ.አ. በ2016 የሞቱን መንስኤ የመረመረው ችሎት የጁሪ አባላት ደጋፊዎቹ ጥፋት የለባቸውም፣ የሞቱት በሕገ ወጥ ግድያ ነው አሉ። ምን ነበር የሆነው? ውጭ የተጨናነቀውን ሰው ለማስተንፈስ ትልቅ በር ተከፈተ። ወደ መካከለኛዎቹ በአጥር የተከለሉ የተመልካች መቆሚያ ክፍሎች የሚወስደው ዋሻ ግን አልተዘጋም። ክፍሎቹ ቀድመው ሞልተው ነበር፣ ፊታቸው የብረት አጥር ነው። የገባው ሰው ይህን በምንም መንገድ ማወቅ አይችልም ነበር። ቤተሰቦቹ ይህን በፍርድ ለማሰማት 27 ዓመት ጠበቁ።

እንዲህ ባለ ቦታ ብዙው ሰው የሚሞተው ተረግጦ አይደለም። ቆሞ ነው የሚታፈነው፣ ደረቱ ለመተንፈስ የሚሰፋበት ቦታ ያጣል። ስለዚህ ሰልፍ አስከባሪ፣ ያንተን ልፋት አልንቅም። ግን ሰዉን ከመውቀስ በፊት መንገዱን እይ። ሰው የቀረበለትን መንገድ ነው የሚሄደው፤ መንገዱን የሠራው አዘጋጁ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ አዘጋጅ የሌለው ስብስብ ቢሆንስ? በበዓል ቀን ሰው በራሱ መንገድ ላይ ሲወጣ ማንም አይጠየቅም ማለት ነው?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደቡብ ኮሪያ፣ ሴኡል ከተማ ኢቴዎን ሰፈር ውስጥ 159 ሰው የሞተው እንዲህ ባለ ስብስብ ነው። ጠባብ ቁልቁለት መተላለፊያ፣ ከሁለት ወገን የሚገባ ሰው። ከአደጋው ከ3 ሰዓት በላይ ቀደም ብሎ "ሰው ሊታፈን ነው" የሚል ስልክ ለፖሊስ ተደውሎ ነበር። አዘጋጅ አልነበረም፤ ሆኖም በ2024 የአካባቢው ፖሊስ ጣቢያ ኃላፊ በሥራ ላይ ቸልተኝነት በመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት 3 ዓመት ተፈረደበት። የወረዳው አስተዳዳሪ ግን በነፃ ተለቀቀ። ማስጠንቀቂያ ደርሶህ ዝም ማለት ራሱ ያስጠይቃል።

ኢንሹራንስ ፈላጊ፦ የትኛው መድን ይሻላል?

መላሽ፦ የመድን ሰው ጠይቅ። ከመፈረምህ በፊት ግን የማይሸፍነውን ዝርዝር አንብብ፤ ርችት፣ ጊዜያዊ መድረክ፣ በጎ ፈቃደኞች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው።

ድንኳን ተካይ፦ አሁን ልናገር? ስለ ንፋስ ማንም አያነሳም። ደንበኛ "ቆንጆ ቀን ነው፣ ገመዱን ቀንስልን፣ ለፎቶ አያምርም" ይለኛል።

መላሽ፦ አትቀንስ። "አልቀንስም" ያልክበትን መልእክትም አስቀምጥ። እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ውስጥ በኢንዲያና ባዛር ላይ ንፋስ የመድረኩን ጣሪያ ጥሎ 7 ሰው ሞቷል። ጣሪያው በቂ ጥንካሬ አልነበረውም። ከዚያ ባለፈ ግን ዝግጅቱን የማዘግየት ሥልጣን የማን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ሰማዩ ጠቁሮ ሰዎች እየተመካከሩ ነበር። እናንተ ቁጥሩን ቀድማችሁ ጻፉት፦ ንፋስ ይህን ሲደርስ መድረክ ይወርዳል፣ ይህን ሲደርስ ሰው ይወጣል። ለምሳሌ በአየር ለሚነፋ የልጆች መጫወቻ የተለመደው ጣሪያ በሰዓት 38 ኪሎ ሜትር ነው። መለኪያ ግዙ፣ በዓይን አይገመትም።

ሥልጣኑን ደግሜ እላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ሂውስተን ውስጥ፣ አስትሮወርልድ በሚባል የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ 10 ሰው ሞተ። በእቅዱ ዝግጅቱን ማስቆም የሚችሉት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ባለሥልጣናት የብዙ ሰው አደጋ መሆኑን ካወጁ በኋላ እንኳ ዝግጅቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ ቀጠለ። ሥልጣኑን ለሰው ስጡ፣ ስሙን ጻፉ፣ ተተኪውን ጻፉ። ከዘፋኙም፣ ከስፖንሰሩም በላይ ይሁን። ማይክሮፎን በእጁ ይግባ። ሲያስቆም የሚለውን ዓረፍተ ነገር አስቀድማችሁ ጻፉለት፤ ሙዚቃው ይቆማል፣ መብራት ይበራል፣ በረጋ ድምፅ "ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ" ይባላል።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። ቲኬት ላይ "ኃላፊነት አንወስድም" ብለን ብንጽፍ አያድነንም?

መላሽ፦ ተመልሷል። ወደ ላይ ውጣና አንብብ። ስትመለስ የመውጫ በሮችህን ስንትነትና ስፋት ይዘህ ና።

የእርዳታ ኮሚቴ፦ እኔ የመጨረሻ ልጠይቅ። ጥንቃቄ ሁሉ ተደርጎ ሰው ቢጎዳስ፣ በዚያች ሰዓት ምን እናድርግ?

መላሽ፦ መጀመሪያ ሰዉን እርዱ። ስለ ክስ የሚታሰበው በኋላ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ ሰጪዎቹ የት እንደቆሙና አምቡላንስ በየትኛው በር እንደሚገባ ከጠዋቱ የታወቀ ይሁን፤ ያ መንገድ የመኪና ማቆሚያ እንዳይሆን። የሚያሰጋ ነገር ካለ ዝግጅቱ ይቁም።

ቀጥሎ አንድ ሰው መድቡና ይጻፍ፦ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን አየ፣ ማን ምን አደረገ። የሰማውን ሳይሆን ያየውን። የተሰበረውን ነገር አታንሱት፣ አትጠግኑት፤ ፎቶ አንሱት። የካሜራ ቅጂው በራሱ ከመጥፋቱ በፊት ይቀመጥ። ለፖሊስም ሆነ ለመድን ድርጅቱ የማሳወቂያ ጊዜ ገደብ ካለ አይለፍባችሁ። ቀድሞ ያልነበረ የደህንነት ሰነድ በዚያች ሌሊት ጽፋችሁ የቆየ ቀን እንዳታደርጉበት፤ ከአደጋው የባሰ ክስ ያመጣል።

ለተጎጂው ቤተሰብ ደግሞ ደውሉ። ብዙ አዘጋጆች ጠበቃ "ዝም በሉ" ስላላቸው ይጠፋሉ። ስለ ጥፋቱ ማንነት አለመናገር ይቻላል፤ ሰውየው የትኛው ሆስፒታል እንደሄደ፣ አብሮት ማን እንዳለ፣ ስልኩና ጫማው የት እንደተቀመጠ መንገር ግን ማንም አይከለክልም። ይህን ሥራ ለማን እንደምትሰጡ ዛሬውኑ ወስኑና ከስም ዝርዝሩ ላይ ጨምሩት።