የኤሌክትሪክ ግብይት ለጀማሪ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው፤ የሂሳብ ባለሙያ ነኝ። የኤሌክትሪክ ኃይል ግብይት ለመማር ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የአካባቢዎን ገበያ የሚመራው ፒጄኤም (PJM) የተባለው የኤሌክትሪክ መረብ አስተዳዳሪ ድርጅት ነው፤ የኦንላይን ትምህርቱ በነፃ ስለሆነ ውድ ኮርስ ለመግዛት አይቸኩሉ። በቅድሚያ የዋጋውን አሠራር ይረዱ፤ የአንድ ቦታ ዋጋ የኃይሉ፣ የመስመር መጨናነቅና የብክነት ድምር ነው። ጀማሪን የሚጥለው መጨናነቁ ነው። መስመር ሲሞላ ርካሹ ኃይል አያልፍም፤ ስለዚህ ከመስመሩ ወዲያ ዋጋ ሲሰቀል ወዲህ ከዜሮ በታች ሊወርድ ይችላል።

ከዚያ ያለ ገንዘብ ይለማመዱ። ለነገ የሚውል ኃይል ዛሬ የሚሸጥበት የነገው ገበያ የዋጋ ማቅረቢያ ጊዜ ጠዋት 11፡00 (በእኛ 5 ሰዓት) ይዘጋል። ከዚያ በፊት የአየር ትንበያውን አይተው ለዌስተርን ሀብ (ብዙ ግብይት ለሚካሄድበት የፒጄኤም የዋጋ ማጣቀሻ) የነገን 24 ሰዓታት ዋጋ ይገምቱ። ከሰዓት በኋላ ከሚወጣው ዋጋ፣ በማግስቱም በየ5 ደቂቃው ከሚለዋወጠው ጋር ያስተያዩ። ኃይል ሳያመርቱና ሳይረከቡ በገበያው የሚደረገው የምናባዊ ግብይት ትርፍና ኪሳራ የእነዚህ ሁለት የገበያ ዋጋዎች ልዩነት ነው። በእውነተኛ ገንዘብ ለመግባት ግን አባልነትና ማስያዣ ይጠየቃል፤ ለግለሰብ ቀላሉ በር በኃይል ኩባንያ ውስጥ በተንታኝነት መቀጠር ነው።