«ልመለስ ነው» ስል ሁሉም «ለምን?» ይለኛል

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ደብዳቤዎች የሚያወሩት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ ለትምህርት ልውውጥ ውጭ ከርሞ ወደ ቤት ስለመመለስ። ሦስቱም የተጻፉት ከሀዋሳ ልጆችና ከሀዋሳ ቤት ነው። የመጀመሪያው ብዙ ጣጣ ስላለው ረዘም አድርገን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ። ሀዋሳ የምማር የ4ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ጀርመን መጥቼ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል፤ በየካቲት መጨረሻ እመለሳለሁ። የጨነቀኝ ነገር አንድ ሁለት አይደለም። እንዴት እንደምሰናበት አላውቅም። በተለይ ከታች ፎቅ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት አሉ፤ እሁድ እሁድ አብረን ቡና ስንጠጣ ነው የከረምነው። ልጆቻቸው ሩቅ ናቸው። ሳስበው ሆዴ ይባባል። እዚህ ያሉ ሐበሾች ደግሞ ከአሁኑ «ዕቃ ታደርሺልኛለሽ» ማለት ጀምረዋል። ከሁሉም የባሰው ግን ልመለስ ነው ስል ሀገር ቤት ያሉ ጓደኞቼ ሳይቀሩ «አብደሻል? ሰው ለመውጣት ስንት መከራ ያያል፣ አንቺ ትመለሻለሽ?» ይሉኛል። «ነይ» ያለችኝ እናቴ ብቻ ናት።

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር፤ እሱ ካልጠራልሽ ሌላውም አይጠራም። መመለስሽ ትክክል ነው። «ለምን?» የሚሉሽ ክፉ አስበው አይመስለኝም። ኑሮ ከብዷቸው፣ ራሳቸውን አንቺ ቦታ አስቀምጠው ነው የሚያወሩት። ግን አንቺ የያዝሽው የልውውጥ ተማሪ ወረቀት ነው። የመኖሪያ ፈቃድሽ ከትምህርቱ ጋር የታሰረ ነው፤ ትምህርቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ዲግሪሽ ያለው ደግሞ እዚህ ሀዋሳ ነው። ሙሉ ሴሚስተር በአውሮፓ አቆጣጠር 30 ክሬዲት ይይዛል፤ ያ ሁሉ ልፋት ዋጋ የሚኖረው ተመልሰሽ ሲመዘገብልሽ ነው። ዲግሪሽን ከያዝሽ በኋላ ለማስተርስ በአውሮፓ ኅብረቱ የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ወይም ዳአድ በሚባለው የጀርመን የትምህርት ልውውጥ ድርጅት በኩል ብታመለክቺ በፊት በር ትገቢያለሽ፤ አሁን ተደብቀሽ ብትቀሪ ግን ያንኑ በር በገዛ እጅሽ ትዘጊዋለሽ። ከኋላሽ ለመሄድ ተራ የሚጠብቁ ልጆችም አሉ። የተላኩት ካልተመለሱ የሚቀጥሉትን ማን ይቀበላል?

ለጠየቀሽ ሁሉ ማብራሪያ አትስጪ። «ትምህርቴን ልጨርስ ነው» በይ፣ በቃ።

ወደ ስንብቱ እንምጣ። የመጨረሻዋ ሳምንት ላይ አታድርጊው፤ ያኔ ጭንቅላትሽ ሻንጣ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ «ዛሬ ማታ ኑ» ተብሎ ሰው አይሰበሰብም፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ቀኑንና ሰዓቱን ንገሪያቸው። ለክፍል ጓደኞችሽና አብረውሽ ለሚኖሩት ቡና አፍዪላቸው። ጥሬ የሲዳማ ቡና ተርፎሽ ከሆነ ከዚህ የተሻለ ግብዣ የለም። መኝታ ክፍልሽ ውስጥ ግን አትቁዪ! ኮርኒሱ ላይ ያለችው ጭስ ጠቋሚ ከጮኸች ሕንፃው በሙሉ ሊወጣ ይችላል። ወጥ ቤት ገብተሽ መስኮት ከፍተሽ፣ በሩን ዘግተሽ፣ በትንሽ በትንሹ ቁዪ። ፈንድሻም አዘጋጂ። አቦል ብቻ ቀድተሽ አትሸኚያቸው፤ ቶናውም በረካውም ይድረሳቸው። ጀበናው እንደገና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ነው ሰው ዘና ብሎ የልቡን የሚናገርበት።

አሮጊቷን ግን ከሰው ጋር ቀላቅለሽ አትሰናበቺያቸው። አንድ እሁድ ለእሳቸው ብቻ ይሁን፤ እሱም ከመሄድሽ በፊት ያለችው የመጨረሻዋ እሁድ ባትሆን ይሻላል። ስታመሰግኚያቸው በጅምላ «ለሁሉም ነገር» ብለሽ አትለፊው። አሞሽ ሾርባ አምጥተውልሽ ከሆነ ሾርባውን ጥሪላቸው። የትራም ቲኬት አቆራረጥ ያሳዩሽ እሳቸው ከሆኑ እሱን ንገሪያቸው። በዕድሜ የገፋና ብቻውን የሚኖር ሰው ለአንድ ልጅ ምን እንደጠቀመ በዝርዝር ሲሰማ ደስ ይለዋል።

አንድ ነገር አደራ፦ «በቅርቡ እመጣለሁ» አትበያቸው። እኛ ሰው እንዳይከፋው ብለን የማንፈጽመውን ቃል እንገባለን። እሳቸው ግን ቃሉን ይዘው ይጠብቃሉ፣ ቀኑን ሊጠይቁሽም ይችላሉ። የምትችይውን ብቻ ቃል ግቢ። እሁድ በቡናው ሰዓት እደውላለሁ በይ፤ በእነሱ ክረምት የሰዓት ልዩነቱ 2፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ አይከብድም። ደብዳቤ የሚወዱ ከሆነ የቤተሰብሽን ወይም የትምህርት ክፍልሽን የፖስታ ሳጥን ቁጥር ጽፈሽ ስጫቸው፤ እኛ ጋ ፖስታ ቤት ለቤት እንደማይታደልም አስረጂያቸው። እንባ ሳያወጡ ቢሸኙሽ ደግሞ እንዳትቀየሚ። በር ላይ ቆመው እጅ ጨብጠው ይመለሱና ከዚያ በኋላ የሚያለቅሱ ሰዎች አሉ።

ዕቃው ላይ ጠንከር ልበል። ይሉኝታ እዚህ ላይ ሰው ያስበላል። የምትመልሺው መልስ አንድ ይሁን፦ «ከፍተሽ አሳዪኝ፣ እኔ ራሴ ሻንጣዬ ውስጥ አስገባዋለሁ።» የታሸገ ካርቶን፣ የተሰፋ ከረጢት፣ «የእናቴ መድኃኒት ናት» የተባለ ስም የሌለው ብልቃጥ አትቀበዪ። ቅር የሚለው ቅር ይበለው። ኤርፖርት ላይ «ይህን ሻንጣ ያዘጋጀሽው አንቺ ነሽ?» ስትባዪ አፍሽን ሞልተሽ «አዎ» ማለት መቻል አለብሽ፤ ውስጡ የተገኘው ሁሉ ያንቺ ነውና። የሰው ገንዘብም አትያዢ፤ ከአውሮፓ ኅብረት 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ በጥሬው ይዞ የሚወጣ ሰው ማስመዝገብ ግዴታው ነው። አዳዲስ ስልክ ደርድረሽ ከመጣሽ ቦሌ ላይ ጉምሩክ መጠየቁ አይቀርም። ከአውሮፓ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሆኑ 2 ሻንጣዎች ነው፣ ግን ቲኬትሽን እይ። መጀመሪያ የራስሽን መዝኚ፤ ኪሎ ከተረፈሽ ያኔ ለሰው ታስቢያለሽ። ዓይንሽን በጨው አጥበሽም ቢሆን እምቢ ማለትን ልመጂ። ፓወር ባንክሽን በእጅ ሻንጣ ያዢ፣ በሚጫነው ውስጥ አይፈቀድም።

የወረቀት ጉዳይም አለ። ከከተማው መዝገብ መሰረዝ አለብሽ፤ እዚያ ያሉት አብሜልዱንግ የሚሉት ነው። ከመውጣትሽ ቀደም ብሎ ከአንድ ሳምንት ጀምሮ፣ ከወጣሽ በኋላ ደግሞ እስከ ሁለት ሳምንት ማድረግ ትችያለሽ። እዚያው ሳለሽ ጨርሽው። የሚሰጡሽ ማረጋገጫ ለጤና መድኅኑም፣ በየወሩ ለሚከፈለው የሬዲዮና ቴሌቪዥን ክፍያም ማቋረጫ ይሆንሻል። የቤቱን ማስያዣ ሳትቀበዪ የባንክ ሒሳብሽን እንዳትዘጊ፤ ገንዘቡ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል። የዩኒቨርሲቲውን የቆይታ ማረጋገጫም አስፈርመሽ ውጪ፤ ከተመለሱ በኋላ ፊርማ በኢሜይል ማሳደድ አሰልቺ ነው።

ከፍራንክፈርት ቦሌ ወደ 7 ሰዓት ነው። ከዚያ ሀዋሳ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም፣ በመኪና 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እኔን ብትጠይቂኝ እናትሽ መኪና ይዘው ቦሌ የሚመጡ ከሆነ በመኪናው ሂጂ። ሞጆን፣ መቂን፣ ባቱን፣ አርሲ ነገሌን፣ ሻሸመኔን አልፈሽ ስትገቢ ከእናትሽ ጋር የምታወሪበት በቂ ጊዜ ይኖርሻል። ቤት ከደረስሽ በኋላ ጎረቤቱ ፋታ አይሰጥሽም።

ጥያቄ፦ ልጄ ለትምህርት ጣሊያን ከርሞ በሚቀጥለው ወር ይመጣል። ጎረቤት ሁሉ «ተለውጦ ነው የሚመጣው፣ ይኮራብሻል» እያለ ያስፈራኛል። በመጣ ቀን ደግሼ ዘመድ ልጥራ ወይስ ይቆይ? ከታቦር ተራራ ሥር ነው የምንኖረው።

መልስ፦ እናቴ፣ እንኳን ደስ ያለዎት። ድግሱ ይኑር፣ ግን የመጣ ቀን አይሁን። ሌሊቱን ሲበር ያደረ ልጅ ሃምሳ ሰው እየሳመ ቢውል ፊቱ መጨማደዱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ነው «ኮራ» የሚባለው። የመጀመሪያው ቀን የቤተሰብ ይሁን። ይታጠብ፣ ይብላ፣ ይተኛ። ድግሱን ቅዳሜ ወይም እሁድ ያድርጉት።

ሰው ፊት «ምን አመጣህ?» እንዳይባል ቀድመው ለእህት ወንድሞቹ ይንገሩልኝ። የተማሪ የኪስ ገንዘብ ለሰፈር ስጦታ አይበቃም። ምግብ ላይ የናፈቀውን ይጠይቁት እንጂ ሁሉንም በአንዴ አይሥሩለት፤ ወራት ሙሉ ፓስታ የለመደ ሆድ በመጀመሪያው ቀን ክትፎና ዶሮ ቢደረብበት ይታመማል። በማግሥቱ ጠዋት ከአባቱ ጋር አሞራ ገደል ይላኩት፣ ትኩስ ዓሣ ሾርባ ጠጥተው ይምጡ። «ጣሊያን እንዴት ነው?» ቢሉት «ጥሩ ነው» ብሎ ዝም ይልዎታል። «ቁርስ ምን ትበላ ነበር? ልብስህን የት ነበር የምታጥበው?» ቢሉት ግን ሲያወራ ያመሻል።

ጥያቄ፦ ከሀንጋሪ ከተመለስኩ 2 ወር ሆነኝ። መጀመሪያ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ግን ሁሉም ያስጠላኛል። ጓደኞቼ «ቡዳፔስት ቡዳፔስት አትበይብን፣ ፈረንጅ ሆነሽ መጣሽ» ይሉኛል። የማወራው ሰው አጣሁ።

መልስ፦ የሆንሽው ነገር የታወቀ ነው። የኖርዌዩ ተመራማሪ ስቬሬ ሊስጎርድ እ.ኤ.አ. በ1955 አሜሪካ የከረሙ የሀገሩን ሰዎች አጥንቶ፣ ሰው ባዕድ ሀገር ሲገባ ስሜቱ ከፍ፣ ዝቅ፣ እንደገና ከፍ እንደሚል ጻፈ። በ1963 ደግሞ ጆንና ጂን ጉላሆርን የተባሉ አሜሪካውያን ቀጠሉበትና ወደ ቤት ሲመለስም ያው መውረድና መውጣት እንደሚደገም አሳዩ። መጀመሪያ ደስ ብሎሽ ቆይቶ መክፋቱ የሚጠበቅ ነው። ክህደትም ኩራትም አይደለም።

ጓደኞችሽ ላይ ግን አትፍረጂ። አንቺ ስትሄጂ እነሱም ዝም ብለው አልተቀመጡም፤ ፈተና ወድቀዋል፣ ፍቅር ጀምረዋል፣ ዘመድ ቀብረዋል። አንዷን ብቻዋን ውሰጂና «እኔ በሌለሁበት ምን ሆነ?» ብለሽ ጠይቂያት፤ መሃል ላይ ስለ ሀንጋሪ ሳታነሺ እስከ መጨረሻው ስሚያት። «እዚያ ግን...» ብለሽ የምትጀምሪውን ወሬ ለጊዜው ተዪው። ባጃጅ ዘገየ፣ መብራት ጠፋ፣ ወረፋ ተጣሰ በተባለ ቁጥር እዚያን ካነሳሽ ሰው ይሸሽሻል።

ወሬው ግን መውጫ ይፈልጋል። ከአንቺ በፊት በልውውጥ የሄዱ ልጆች ግቢሽ ውስጥ አይጠፉም፤ የውጭ ግንኙነት ቢሮውን ጠይቂና አግኚያቸው። በሚቀጥለው ዙር ለሚሄዱት ስለ ቪዛው፣ ስለ ቅዝቃዜው፣ ስለ ጓንቱ አስረጂ፤ አፋቸውን ከፍተው ነው የሚሰሙሽ። እዚያ አመሻሽ ላይ በእግርሽ መሄድ ከለመድሽ እዚህም አትተዪው፣ የሐይቁ ዳር አለልሽ። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት ከራቀሽ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ፣ አታመንቺ።

ትራንስክሪፕትሽ ደርሶሻል ወይ? በኢራስመስ ፕላስ ከሄድሽ ውጤት ከወጣ በኋላ በ5 ሳምንት ውስጥ መላክ አለበት። ካልመጣ ዛሬውኑ ጻፊላቸው፣ ለእዚህኛው ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪሽም ግልባጭ አድርጊ።