ጥያቄና መልስ፦ የሞለኪዩላር ባዮሎጂስት ሥራ በምን ይለካል?

ፕሮፍ፦ ሰላም ለሁላችሁ። 26 ዓመት ላብ ውስጥ ነኝ፤ ሥራዬ ፕሮቲን ነው። 11ዱን ዓመት ደግሞ በቅጥርና በማዕረግ ዕድገት ኮሚቴ ተቀምጬ የሰው ሲቪ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ስለ ኤች ኢንዴክስ፣ ስለ ኢምፓክት ፋክተር፣ ስለ ደራሲዎች ቅደም ተከተል ጠይቁኝ። አንድ አደራ ብቻ፦ ቁጥር ስትጽፉልኝ ከየት እንዳገኛችሁትና መቼ እንዳያችሁት አብራችሁ ጻፉ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።

አዲስ ገቢ፦ ፕሮፍ፣ ስለ ጊዜዎ እናመሰግናለን። ገና ማስተርስ ላይ ነኝ። ሁሉም ኤች ኢንዴክስ፣ ኤች ኢንዴክስ ይላል፤ አሰላሉን ቢያስረዱኝ?

ፕሮፍ፦ የፊዚክስ ሰው የሆነው ሆርሄ ሂርሽ በ2005 ያወጣው ስሌት ነው። ፔፐሮችህን በሌሎች ፔፐሮች ብዙ ከተጠቀሰው ጀምረህ ወደ ታች ደርድራቸው። የተራ ቁጥሩ ከጥቅሱ ብዛት ሳይበልጥ የምትደርስበት የመጨረሻው ተራ ኤች ኢንዴክስህ ነው። 48፣ 31፣ 12፣ 9፣ 6፣ 5፣ 5፣ 2፣ 0 ጊዜ የተጠቀሱ ዘጠኝ ፔፐሮች አሉህ እንበል። አምስተኛው 6 ጊዜ ተጠቅሷል፤ ስድስተኛው ግን 5 ጊዜ ብቻ። ስለዚህ 5 ነህ። አሁን የላብ ጓደኛህን እይ፤ 900፣ 400፣ 150፣ 90፣ 6፣ 1። እሷም 5 ናት። ሁለታችሁን የሚለያያችሁ ነገር እዚህ ቁጥር ውስጥ አልገባም።

ፖስትዶክ፦ የእኔ ኤች ኢንዴክስ 14 ነው። ጥሩ ነው?

ፕሮፍ፦ ከየት? መቼ? ስንት ዓመት ሠርተህ?

ፖስትዶክ፦ ይቅርታ። ከጉግል ስኮላር፣ ትናንት ማታ። ዶክትሬቴን ከያዝኩ 7 ዓመቴ ነው።

ፕሮፍ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። ስኮላር ተሲሱንም፣ ገና ያልተገመገመውን ፕሪፕሪንትም፣ የጉባኤ ጽሑፉንም እየለቀመ ይቆጥራል። ስኮፐስና ዌብ ኦፍ ሳይንስ የሚባሉት የጥቅስ ማውጫዎች መርጠው ያስገቧቸውን ብቻ ነው የሚቆጥሩት። ስለዚህ የስኮላሩ ከፍ ብሎ ቢታይህ አይግረምህ፤ አንዱን ከስኮላር ሌላውን ከስኮፐስ አውጥቶ ሁለት ሰው ማወዳደር ግን ነውር ነው። ዘርፍም አለ። ሂርሽ ራሱ በዚያው ጽሑፉ ከፊዚክስ ሰዎች ከፍተኛው ኤድዋርድ ዊተን 110፣ ከሕይወት ሳይንስ ደግሞ ሰለሞን ስናይደር 191 እንደሆኑ አስቀምጧል። ስናይደር ዊተንን በለጠው ማለት ነው? አይደለም። እኛ ብዙ ነን፤ የዋቢ ዝርዝራችን ረጅም ነው፤ ቶሎ ቶሎ እንጠቃቀሳለን። 14 ጥሩ መሆኑን ከእኔ አትጠብቅ። በአንተ ዘርፍ፣ አንተ በተመረቅህበት ዓመት የተመረቁ አሥር ሰዎች ፈልግና ከዚያው ከስኮላር አውጥተህ አስተያይ።

አዲስ ገቢ፦ ኢምፓክት ፋክተሩ ከፍ ያለ ጆርናል ላይ የወጣ ፔፐር ጥሩ ፔፐር ነው ማለት ይቻላል?

ፕሮፍ፦ አይቻልም። ኢምፓክት ፋክተር የጆርናል አማካይ ነው። ጆርናሉ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች ዘንድሮ የተጠቀሱበት ብዛት፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ላወጣቸው ጽሑፎች ቁጥር ሲካፈል ነው። ዩጂን ጋርፊልድ ያመጣው የጥቅስ ማውጫው ውስጥ የትኞቹ ጆርናሎች ይግቡ የሚለውን ለመምረጥ ነበር፤ ሰው ሊመዝንበት አይደለም። ኔቸር ራሱ በ2005 በርዕሰ አንቀጹ እንዳመነው፣ የዚያን ጊዜውን ቁጥሩን 89 በመቶ ያስገኙለት ካወጣቸው ጽሑፎች 25 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት በጎረቤታቸው ስም ነው የሚኖሩት። የአንድን ፔፐር ጥራት በጆርናሉ አማካይ መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው።

ጄል ጠባቂ፦ ፕሮፍ፣ በአክብሮት፣ ይሄ የሚያምር ወሬ ነው። እኔ ባመለከትኩበት ቦታ የመጀመሪያው ዓምድ የጆርናሉ ስም ነበር። ፔፐሩን የከፈተው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ባለፕላዝሚድ፦ 300 ማመልከቻ ጠረጴዛህ ላይ ቢቆለል አንተ ምን ታደርግ ነበር? ሁሉንም ታነባለህ? ማጣሪያ ያስፈልጋል።

ጄል ጠባቂ፦ ማጣሪያው ባዮኬሚስቷን ካታሊን ካሪኮን ነበር ያጣራው። በ1995 ዩኒቨርሲቲዋ ከማዕረጓ ዝቅ አደረጋት፤ ከድሩ ዋይስማን ጋር በ2005 በኤምአርኤንኤ፣ ማለትም ለሴሉ የፕሮቲን መሥሪያ መመሪያ በሚያደርሰው ሞለኪውል፣ ላይ ያወጣችው ሥራ በ2023 ኖቤል አስገኘላት።

ባለፕላዝሚድ፦ እሷን የምናውቃት ስለተሳካላት ነው። ዝቅ ተደርገው በዚያው የቀሩትን ማን ቆጠራቸው? ከመካከላቸው ስንቱ በትክክል ዝቅ እንደተደረገስ በምን ታውቃለህ?

ጄል ጠባቂ፦ አላውቅም! አንተም አታውቅም! እኔስ የምለው ይኸንኑ አይደል?

ባለፕላዝሚድ፦ አይደለም። አንተ የምትለው «እኔን አልቀጠሩኝም» ነው።

ፕሮፍ፦ በቃ። የግል ጉዳያችሁን ሌላ ቦታ ጨርሱ። በዚያው የቀረ ሰው ምሳሌ ከፈለጋችሁ ግን ዳግላስ ፕራሸር አለላችሁ። ጂኤፍፒ የሚባለውን አረንጓዴ የሚያበራ ፕሮቲን ጂን ክሎን አድርጎ፣ ማለትም ለይቶ አባዝቶ፣ በ1992 አሳተመ፤ ገንዘብ አልተገኘለትምና ክሎኑን ለጠየቁት ላከ። በ2008 ክሎኑን ከእሱ የተቀበሉት ማርቲን ቻልፊና ሮጀር ሲዬን ከኦሳሙ ሺሞሙራ ጋር የኬሚስትሪ ኖቤል ሲወስዱ እሱ የመኪና ሻጭ ድርጅት ደንበኞችን በቫን ያመላልስ ነበር። ቱቦ አሽጎ በፖስታ መላክ የሚቆጠርበት ዓምድ በየትኛውም ሲቪ ላይ የለም። ለባለፕላዝሚድ ደግሞ፦ ማጣሪያ ያስፈልጋል ማለትህ ልክ ነው። «ዶራ» የሚባለው የሳን ፍራንሲስኮ መግለጫ በ2012 የተነሳውም ማጣሪያ አይኑር ብሎ አይደለም፤ የጆርናል ቁጥር ለሰው መመዘኛ አይሁን ብሎ ነው።

ታዛቢ፦ ብዙ መጠቀስ በራሱ ትልቅ ግኝት መሆኑን አያሳይም?

ፕሮፍ፦ ይህችን ስጠብቅ ነበር። ኔቸር በ2014 ከዌብ ኦፍ ሳይንስ ባወጣው ዝርዝር ከሁሉ የላቀው የኦሊቨር ላውሪ የ1951 ጽሑፍ ነው፤ ከ305,000 ጊዜ በላይ ተጠቅሷል። ምን አገኘ? ፕሮቲን መለኪያ። ሁለተኛው የሌምሊ የ1970 ጽሑፍ ነው፤ ርዕሱ ስለ ቲ4 ባክቴሪዮፋጅ (ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ) ራስ አገጣጠም የሚያወራ ነው፤ ዓለም የሚጠቅሰው ግን ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለሚለየው ጄሉ ነው። ሦስተኛው የብራድፎርድ የ1976 ሥራ፤ እሱም ፕሮቲን መለኪያ። የዋትሰንና የክሪክ የ1953 ጽሑፍ መቶዎቹ ውስጥም አልገባም። ዲኤንኤ ድርብ ጥምዝ ነው ለማለት ዛሬ ዋቢ የሚጠራ የለማ።

ብራድፎርድ ከተነሳ አንዴ ልናገር። ኩማሲ የሚባለው ቡናማ ቀለም ፕሮቲን ሲያገኝ ወደ ሰማያዊ ይዞራል፤ 595 ናኖሜትር ላይ ታነባለህ፤ መጠኑን በምታውቀው ፕሮቲን፣ በአልቡሚን፣ ካዘጋጀኸው የማመሳከሪያ መስመር (ስታንዳርድ ከርቭ) ጋር ታስተያያለህ። ናሙናህ ሲወፍር ግን መስመሩ ይጎብጣል፤ ፕሮቲኑ እጥፍ ቢሆን ንባቡ እጥፍ አይሆንም። ናሙናው ያለበት ፈሳሽ፣ ቡፈርህ ውስጥ፣ ኤስዲኤስ የሚባለው ሳሙና መሰል ነገር በዛ ካለ ደግሞ ፕሮቲን ሳይኖርም ሰማያዊ ይልልሃል። ይህን የማያውቅ የላብ ተማሪ የለም። ያው ሰው ኮሚቴ ላይ ሲቀመጥ ግን ኤች ኢንዴክስን ያለ ስታንዳርድ ከርቭ ያነባል! ዶክትሬቱን በያዘ በሁለት ዓመቱ አብዛኛው ሰው 3 ወይም 4 ነው፤ እዚያ ታች መሣሪያው ማንንም ከማንም አይለይም። ወደ ላይ ስትወጣ ደግሞ የምታነበው ዕድሜንና የላብ ስፋትን ነው። በ80 ደራሲ መሃል የተሰካ ስም ቡፈር ውስጥ የገባ ኤስዲኤስ ነው። ሰማያዊ ነው፤ ፕሮቲን ግን ላይኖረው ይችላል።

ሌላ አባል፦ ሰላም ፕሮፍ፣ የእኔ 6 ነው፣ እንዴት ነው?

ፕሮፍ፦ ምንጭ። ቀን። ከላይ አንብብ።

ፖስትዶክ፦ የተመራማሪዎች ድረ ገጽ የሆነው የሪሰርችጌት ስኮርስ ይታያል?

ፕሮፍ፦ ድርጅቱ ራሱ በ2022 አስቀርቶታል። ሲቪህ ላይ ካለ ዛሬውኑ አጥፋው።

ባለፕላዝሚድ፦ ራስን መጥቀስ ይቀነስብኛል?

ፕሮፍ፦ የራስህን ዘዴ ተጠቅመህ የራስህን ፔፐር ካልጠቀስክ አንባቢው ምን እንደሠራህ አያውቅም። በልክ ከሆነ ማንም አይቆጣህም። ግማሹ የአንተው ከሆነ እናየዋለን።

ዶክትሬት ላይ፦ ደራሲነት ላይ ልጠይቅ። ሙከራውን ሁሉ የሠራሁት እኔ ነኝ። አሁን ሌላ ልጅ «እኩል አስተዋጽኦ» ተብሎ በኮከብ ምልክት ከእኔ በፊት ሊገባ ነው። የላቡ ኃላፊ «ምንም ለውጥ የለውም» ይሉኛል።

ፕሮፍ፦ ለውጥ አለው። በእኛ ሙያ የመጀመሪያው ስም ቤንቹ ላይ ውሎ ሙከራውን የሠራው ነው፤ የመጨረሻው ላቡን የሚመራው፤ መሃሉ የረዳው ነው። ሒሳብ ሰዎች በፊደል ተራ ስለሚደረደሩ ይህ ጭንቀት የለባቸውም። የኮከቧ ምልክት ፔፐሩ ላይ አለች፤ ሰው ሲጠቅሰው ግን የሚጻፈው የፊተኛው ስም «እና ሌሎች» ነው። ሌሎች አንቺ ነሽ። እንዲህ አድርጊ። ከማስገባታችሁ በፊት፣ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ሳይሆን በፊት፣ የትኛውን ሥዕል ማን እንደሠራ በጽሑፍ አስቀምጡ። 14 የአስተዋጽኦ ዓይነቶችን የሚዘረዝረውን «ክሬዲት» የሚባለውን ሥርዓት ብዙ ጆርናሎች ስለሚቀበሉ በእሱ ሙሉት። ኮከቧ የማይቀር ከሆነም ሲቪሽ ላይ ምልክቷን ከነማብራሪያዋ ጻፊ። ገንዘብ ማምጣት ወይም ላብ መምራት ብቻውን ደራሲ እንደማያደርግ የሕክምና ጆርናል አዘጋጆች መመሪያ በግልጽ ይናገራል። ትልቅ ስም ለማስዋቢያ ከኋላ የምትሰኩም ዕወቁት፤ ችግር ሲመጣ የአህያ ባል ነው፣ ከጅብ አያስጥልም።

ዶክትሬት ላይ፦ ኃላፊዬን ፊት ለፊት እንዴት ልበላቸው?

ፕሮፍ፦ እሱን አንቺ ታውቂያለሽ። ጠባያቸውን አላውቅም።

ታዛቢ፦ ኮሚቴ ላይ ሲቀመጡ እርስዎ ራስዎ መጀመሪያ የሚያዩት ምንድን ነው?

ፕሮፍ፦ አመልካቹን «የምትኮራባቸውን ሦስት ፔፐሮች ስጠኝ» እላለሁ። ከዚያ ሥዕሎቹን አያለሁ። ቦታውን አልጠራም፤ አንድ ጊዜ ከ60 በላይ ፔፐር ያለው አመልካች መጣልን። ቁጥሩ ሁሉንም አልፏል፤ ስብሰባው በአሥር ደቂቃ ሊያልቅ ነው። ሦስተኛው ሥዕል ላይ የዌስተርን ብሎት፣ ማለትም አንድን ፕሮቲን በፀረ እንግዳ አካል ለይቶ የሚያሳይ ሙከራ፣ ባንድ (ጠቆር ያለ መስመር) አለ፤ በግራ ጠርዙ ፀጉር የምታህል ጭረት አለችው። አምስተኛው ሥዕል ላይ ሌላ ፕሮቲን ተብሎ ሌላ ባንድ ቀርቧል፤ ጭረቷ በቀኝ ጠርዝ። ወረቀቱን ገልብጬ ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዝኩት። አንድ ባንድ ነው፤ እንደ መስታወት ተገልብጦ። ኤልዛቤት ቢክና ባልደረቦቿ በ2016 ያሳተሙት ጥናት 20,621 ፔፐሮችን አይቶ በ3.8 በመቶው አጠራጣሪ ሥዕል አግኝቷል፤ ስለዚህ ብርቅ ነገር አይደለም። ያ ባንድ ግን ከ200 ጊዜ በላይ ተጠቅሶ ነበር፤ ስኮፐስ፣ በዚያው ዕለት።

ባለፕላዝሚድ፦ ከፔፐር ውጭስ የሚቆጥሩት ነገር አለ?

ፕሮፍ፦ አለ። አድጂን በሚባለው ማከማቻ ያስቀመጥከው ፕላዝሚድ (ጂን የሚጫንበት ክብ ዲኤንኤ)፣ ፕሮቲን ዳታ ባንክ ውስጥ ያስገባኸው የፕሮቲን ቅርጽ፣ ሌላ ላብ ወስዶ የሠራበት ፕሮቶኮል። ፕላዝሚድ ጠይቆ የሚከፍል ሰው ሊሠራበት ነው የሚጠይቀው፤ ዋቢ ዝርዝር ለማሳመር አይደለም። ስምህን በየጊዜው በተለያየ ፊደል የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ግማሹ ሥራህ የሌላ ሰው ሆኖ ይቀራል፤ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጣ፣ 16 አሃዝ ነው፣ በነፃ ነው።

ሌላ አባል፦ በኢሜይል «በሦስት ቀን እናትምልዎታለን» ብለውኝ ነበር...

ፕሮፍ፦ አጥፋው።

ሌላ አባል፦ ግን ኢምፓክት ፋክተራቸው 5 ነው ይላሉ።

ፕሮፍ፦ ከየት? መቼ?

ጄል ጠባቂ፦ ፕሮፍ፣ አይቆጡኝና የእርስዎስ ስንት ነው?

ፕሮፍ፦ ከስኮፐስ፣ ዛሬ ጠዋት፣ 31። ከሁሉ የምወደው ፔፐሬ ግን 9 ጊዜ ብቻ ስለተጠቀሰ 31ዱ ውስጥ የለም። ብዙ ላብ የሚጠቀምበት አንድ ፀረ እንግዳ አካል የሚይዘው የታሰበውን ፕሮቲን ሳይሆን መጠኑ የሚቀራረብ ሌላ ፕሮቲን መሆኑን ያሳየንበት ነው። የታሰበውን ፕሮቲን ጂን ከሴሉ አወጣነው፤ ባንዱ ግን እዚያው ቆመ። ፔፐሩ ከወጣ በኋላ ሁለት ላቦች ጽፈውልን ፕሮጀክታቸውን እንዳቆሙ ነገሩን፤ አንደኛው ሁለት ዓመት ደክሞበት ነበር። ያቆመ ሰው ፔፐር አይጽፍም፤ ስለዚህ አልጠቀሱንም። ጄሌ ሊያልቅ ነው፤ ልሂድ።