መድኃኒት እምቢ ስላለው የአንጎል ብግነት የተነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

አሜሪካ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ለነርቭ ሕሙማን በደም ሥር የሚሰጡ መድኃኒቶችን የማዘጋጅ ፋርማሲስት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ ሰውነት የገዛ አንጎሉን ሲያጠቃ በሚመጣው የአንጎል ብግነት (ኦቶኢሚውን ኤንሰፋላይትስ) ላይ ስለሚሞከሩት መድኃኒቶች የማውቀውን ግን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከማጅራት ገትር በምን ይለያል?

መልስ፦ ማጅራት ገትር አብዛኛውን ጊዜ ከውጭ የገባ ተሕዋስ የሚያመጣው ነው። እዚህ ግን ሰውነት ሊከላከልበት የሚያመርተው ፀረ እንግዳ አካል የገዛ አንጎልን ያጠቃል። ዓይነቱ ብዙ ነው፤ በብዛት የምጠየቀው ኤንኤምዲኤ የተባለውን፣ የነርቭ ሴል መልእክት የሚቀበልበትን ተቀባይ ስለሚያጠቃው ነው። ይህኛው በ2007 ጆሴፕ ዳልማው እና ባልደረቦቹ በ12 ሴቶች ላይ ያዩትን ጽፈው የታወቀ ሲሆን፣ አብዛኞቹ ሴቶች ኦቫሪያቸው ላይ ቴራቶማ የሚባል ዕጢ ነበራቸው። ፀረ እንግዳ አካሉ ተቀባዩን ከነርቭ ሴሉ ገጽ ላይ ጎትቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል እንጂ ሴሉን በአብዛኛው አይገድለውም። ለወራት ራሱን ስቶ የተኛ ሰው ተነሥቶ ሊራመድ የሚችለውም ለዚህ ነው። በነገራችን ላይ በ2011 በርሊን መካነ እንስሳት ውስጥ ውኃ ገብቶ የሞተው ዝነኛው የዋልታ ድብ ክኑት የነበረበት ይኸው በሽታ እንደሆነ የታወቀው ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ የእኅቴ ልጅ 22 ዓመቷ ነው። ስቴሮይድ ወሰደች፣ ኢሚውኖግሎቡሊን (ከለጋሾች ደም የተወሰደ ፀረ እንግዳ አካል) ተሰጣት፣ ፕላዝማዋ ታጠበ። ሪቱክሲማብ ከጀመረች ሦስት ሳምንት ሆናት፤ አሁንም አታውቀንም። ሐኪሞቹ ስለ ሙከራ መድኃኒት ማውራት ጀምረዋል። አበቃላት ማለት ነው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አላበቃላትም። በዚህ በሽታ እንደ ጊዜ የሚያሳስት ነገር የለም። በ2013 የታተመና 577 ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሕክምና (እሷም ባገኘቻቸው በስቴሮይድ፣ በኢሚውኖግሎቡሊን ወይም በፕላዝማ ማጠብ) ወይም ዕጢው ወጥቶላቸው በአራት ሳምንት ውስጥ የተሻላቸው 53 ከመቶ ያህል ብቻ ናቸው። በ24ኛው ወር ግን ከተከታተሏቸው 81 ከመቶው ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። በእነዚህ ሁለት ቁጥሮች መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ ነው ቤተሰብ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያሳልፈው። ሪቱክሲማብ ደግሞ ዛሬ ተንጠባጥቦ ነገ የሚያነቃ መድኃኒት አይደለም፤ ሥራው በሳምንታት ይቆጠራል። «መድኃኒት እምቢ አለ» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ቸኩሎ ይነገራል ብዬ አምናለሁ። ይህ ማለት ግን እጅ አጣጥፎ መጠበቅ አይደለም፤ የመጀመሪያው ዙር ላልሠራላቸው ሁለተኛውን ዙር፣ እንደ ሪቱክሲማብ ያለውን፣ መጀመር እንደሚጠቅም ያው ጥናት አሳይቷል። አንድ ነገር ይጠይቁልኝ፤ ኦቫሪዋ በደንብ ታይቷል? ዕጢው እዚያው ተቀምጦ ከሆነ የምናንጠባጥበው ሁሉ በቀዳዳ እንስራ ውኃ መቅዳት ነው።

ጥያቄ፦ ሪቱክሲማብ ካልሠራ ሌላው በምን ይሻላል?

መልስ፦ ሪቱክሲማብ የሚያጠፋው ሲዲ20 የሚባል ምልክት ያለባቸውን ቢ ሴሎች ነው። ከእነዚህ አድገው ፀረ እንግዳ አካሉን የሚያመርቱት ፕላዝማ ሴሎች ግን ይህ ምልክት የላቸውም። ቡቃያውን ነቀለ፣ የደረሰውን አዝመራ አልነካም እንደ ማለት ነው። ቦርቴዞሚብ፣ በመሠረቱ የመቅኔ ካንሰር መድኃኒት፣ የደረሰውን አዝመራ ይነካል። ኢነቢሊዙማብ ሲዲ19ን ስለሚያነጣጥር ከቡቃያው አልፎ የተወሰኑትን አምራቾችም ይደርስባቸዋል። ቶሲሊዙማብ መንገዱ ሌላ ነው፤ ኢንተርሉኪን-6 የተባለውን የብግነት መልእክት ይዘጋል።

ነገሩ በወረቀት ላይ ያምራል። ማስረጃው ግን? የቦርቴዞሚብ ስም የተነሣው በ2017 ከበርሊን በወጣ የአምስት ሕሙማን ዘገባ ነው። ቶሲሊዙማብን በ2016 ሴኡል ውስጥ በ91 ሕሙማን ላይ ከሌሎች ምርጫዎች ጋር አነጻጽረውታል፤ ውጤቱ ተስፋ የሚሰጥ ነበር፣ ማን ምን እንደሚወስድ ግን በዕጣ አልተወሰነም። ቅድም እንዳልኩት ይህ በሽታ በራሱ ጊዜም እየተሻለ ይሄዳል። በአምስተኛው ወር አዲስ መድኃኒት ሰጥተን በስድስተኛው ወር ሕመምተኛው ቢናገር፣ መድኃኒቱ ነው ያናገረው ወይስ ወሩ?

ጥያቄ፦ ታዲያ ለዚህ ብላችሁ በሞት አፋፍ ላለ ሰው ባዶ ውኃ ትሰጣላችሁ? በሰው ሕይወት ዕጣ ይጣላል?

መልስ፦ ቁጣህ ይገባኛል ወንድሜ። ብዙዎች ግን ዕጣው ሕክምና በማግኘትና ባለማግኘት መካከል ይመስላቸዋል። ኢነቢሊዙማብን የሚፈትነው ኤክስቲንጉዊሽ የተባለው ጥናት 116 ሰዎችን ለማሳተፍ የታቀደ ነው፤ ሁሉም በቅድሚያ የተለመደውን የመጀመሪያ ዙር ሕክምና ያገኛሉ። ዕጣው በዚያ ላይ የሚጨመረውን ይወስናል፤ ያልተሻለው ሰውም በስድስተኛው ሳምንት ሳይክሎፎስፋማይድ የተባለ፣ የሰውነትን መከላከያ የሚያዳክም ጠንካራ መድኃኒት እንዲሰጠው በንድፉ ላይ ተጽፏል።

ከእኔ ጠረጴዛ ሲታይ ደግሞ እንዲህ ነው። ሁለት ከረጢት፣ አንድ ዓይነት መጠን፣ አንድ ዓይነት ቀለም፣ የስም ወረቀታቸውም ያው። የትኛው ውስጥ መድኃኒት እንዳለ የማውቀው እኔ ነኝ፤ ነርሷም ሐኪሙም አያውቁም። እናት በኮሪደር አግኝታ ዓይን ዓይኔን ስታየኝ ፊቴን ማዞር እለምዳለሁ ብዬ ነበር፤ አልለመድኩትም። ነገር ግን ኤልጂአይ-1 በተባለው የዚሁ ሕመም ሌላ ዓይነትና በዘመዱ ላይ ኢሚውኖግሎቡሊን ሲፈተን፣ በአምስተኛው ሳምንት የሚጥላቸው መንቀጥቀጥ በግማሽና ከዚያ በላይ የቀነሰላቸው መድኃኒቱን ካገኙት 8 ሰዎች 6ቱ፣ ካላገኙት 9 ደግሞ 2ቱ ናቸው። በ2020 የታተመ ነው። እነዚያ ሁለቱ መድኃኒቱን አግኝተው ቢሆን ኖሮ «ያዳናቸው እሱ ነው» ብለን እንምል ነበር። ጥናቱ በቂ ተሳታፊ አጥቶ በ17 ሰው ቆሟል፤ ሕመሙ ብርቅ ስለሆነ አንድ አገር ብቻውን አይሞላውም።

ጥያቄ፦ እናታችን ጋኔን ነው ብላ ወንድሜን ጸበል ልትወስደው ትፈልጋለች። ምን እንበላት?

መልስ፦ በሽታው ሲጀምር እንቅልፍ ማጣት፣ መለፍለፍ፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ ሰውን መጠርጠር ነው፤ እናትዎ ያሰቡት አይገርምም። ጸበሉን አይከልክሏቸው፤ ሆስፒታሉ ግን አይዘግይ። ምርመራውም ከደም ብቻ እንዳይሆን። ከወገብ የሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ ፀረ እንግዳ አካሉ እያለ ደሙ ነጻ ሆኖ የሚታይባቸው ከመቶ 14 ያህል ናቸው።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ በቅርቡ መጥቼ ሪቱክሲማብ ልጀምር ነው። ከመጀመሬ በፊት ምን ላሳውቅ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ሁሉም ቢጠይቅ ደስ ይለኛል። ሄፓታይተስ ቢ በእኛ አገር ብዙ ነው፤ የያዘው ሰው ለዓመታት ሳያውቀው ይኖራል። ሪቱክሲማብ የተኛውን ቫይረስ ቀስቅሶ ጉበትን እስከ መግደል ሊደርስ ስለሚችል አምራቹ ራሱ በትልቁ ያስጠነቅቃል። የሄፓታይተስ ምርመራ ውጤት ሳይመጣ የመጀመሪያው ጠብታ አይግባ። ሳንባ ነቀርሳ ያለበት ሰው አብሮዎት ኖሮ ከሆነም ይናገሩ። ሄፓታይተስ ቢ ቢገኝብዎ ሕክምናው ይቀራል ማለት አይደለም፤ ቫይረሱን የሚያፍን ክኒን ቀድሞ ይጀመራል።

ጥያቄ፦ በጥናቶቹ «ተሻለው» የሚባለው በምን ተለክቶ ነው?

መልስ፦ በአብዛኛው ከ0 እስከ 6 ባለ መለኪያ ነው፤ 0 ምንም ምልክት የሌለበት፣ 6 የሞተ። እኔ አልወደውም። ለስትሮክ የተሠራ ስለሆነ እግርን ከአእምሮ የበለጠ ያያል። 1 ተብላ የወጣች አንዲት ልጅ አስታውሳለሁ። ቤቷ ትኖራለች፣ ትለብሳለች፣ ትራመዳለች፤ ሽሮዋን ጥዳ ግን ስልክ ካነሣች ምድጃው ከአእምሮዋ ይጠፋል። እናቷ አሁንም ማታ ማታ ጋዙን እየዘጋች ነው የምትተኛው።

ጥያቄ፦ የራስን ሴል ቀይረው የሚመልሱበት ሕክምና አለ ሲባል ሰማሁ?

መልስ፦ የበርሊን ተመራማሪዎች ያንን የኤንኤምዲኤ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩትን ቢ ሴሎች ብቻ ለይቶ የሚያጠፋ ቲ ሴል (ሌላ ዓይነት የመከላከያ ነጭ የደም ሴል) ሠርተው በ2023 አሳትመዋል። የሚያስደንቅ ሥራ ነው፤ የተሠራው ግን በአይጦች ላይ ነው። ገንዘብ ይዛችሁ ኑ የሚላችሁ ክሊኒክ ካለ ይህን ጠይቁት።